የመብራት ሂሳብ ሲንር፦ ከቆጣሪው እስከ ምጣዱ

ሂሳብ በዛብኝ የሚል ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያየው ብሩን ብቻ ነው። ከብሩ ብቻ ግን ችግሩ የት እንዳለ አይታወቅም። ቅርንጫፍ ሄዶ ከመሰለፍ በፊት ሁለት ቁጥሮች ይያዙ፤ አንደኛው ቢሉ ላይ የተጻፈው የኪሎ ዋት ሰዓት ፍጆታ፣ ሁለተኛው ቆጣሪው አሁን የሚያሳየው ንባብ። የቀረው ሁሉ ከእነዚህ ይነሳል።

ፍጆታው ያው ነው፣ ብሩ ግን ጨምሯል

ቤት ውስጥ የሚፈለግ ጥፋት የለም፤ ታሪፉ ነው። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ከመስከረም 2017 ጀምሮ ሥራ ላይ ያዋለው ታሪፍ በአራት ዓመት ውስጥ በየሦስት ወሩ ከፍ እያለ የሚሄድ ነው። በዚያ ላይ በወር ከ200 ኪሎ ዋት ሰዓት በላይ የሚጠቀም ቤት 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ይታሰብበታል።

የመኖሪያ ቤት ታሪፍ ደግሞ በእርከን ነው። እስከ 50፣ እስከ 100፣ እስከ 200 እያለ ከ500 በላይ ድረስ ይወጣል፤ እርከኑ ከፍ ባለ ቁጥር የአንዷ ኪሎ ዋት ሰዓት ዋጋም ይወደዳል። ባለፈው ወር 190፣ በዚህ ወር 205 የተጠቀመ ሰው የጨመረው 15 ብቻ ነው፤ ሂሳቡ ግን ከዚያ በላይ ይዘላል፣ እርከን ተሻግሯልና። ቆጣሪ አንባቢው አንድ ሳምንት ዘግይቶ ቢመጣም ተመሳሳይ ነገር ሊፈጠር ስለሚችል፣ ቢል ሲያነጻጽሩ የንባቡንም ቀን ይመልከቱ።

ፍጆታው ራሱ በአንድ ወር በእጥፍ ዘለለ

መጀመሪያ ንባቡን ያመሳክሩ። ቢሉ ላይ «የአሁን ንባብ» ተብሎ የተጻፈው ቁጥር፣ ዛሬ ቆጣሪው ላይ ካለው የሚበልጥ ከሆነ ነገሩ ግልጽ ነው፤ ቆጣሪ ወደ ኋላ አይሄድም። ወይ በስህተት ተነቧል፣ ወይ በሩ ተዘግቶ በግምት ተሞልቷል። በአሮጌዎቹ ባለ ዲስክ ቆጣሪዎች ላይ የመጨረሻዋ ቀይ አሃዝ ብዙውን ጊዜ ከነጥብ በኋላ ያለች ናት፤ እሷን ከሙሉው ጋር አብሮ ያነበበ ሰው ንባቡን አሥር እጥፍ ያደርገዋል። ተቃራኒውም አለ፤ ለተወሰኑ ወራት በግምት ዝቅ ተደርጎ ሲጻፍ ቆይቶ እውነተኛው ንባብ የተወሰደ ጊዜ የተጠራቀመው ሁሉ በአንድ ቢል ላይ ይወርዳል። ያኔ ፍጆታው የተሠራበት በመሆኑ አይሰረዝም፤ ነገር ግን በአንድ ወር እንደተሠራ ተቆጥሮ በላይኛው እርከን እንዳይታሰብ፣ ለየወሩ ተከፋፍሎ እንዲሰላልዎት መጠየቅ ተገቢ ነው።

መፍትሄው ቀላል ነው። አንባቢው በሚመጣበት ሰሞን በየወሩ ቆጣሪውን በስልክ ፎቶ ማንሳት። ቀኑ ፎቶው ላይ ስለሚቀር ክርክር ያሳጥራል። ቅሬታውን በ905 ማስመዝገብ ይቻላል፤ በፎቶ የተደገፈ ነገር ግን ቅርንጫፍ ድረስ ይዞ መሄዱን እኔ እመርጣለሁ።

ሁሉንም አጥፍቼ ቆጣሪው ይቆጥራል

ዋናውን ብሬከር ያጥፉ። ቆጣሪው ላይ ያለችው ቀይ መብራት አሁንም ብልጭ ድርግም የምትል ከሆነ፣ ወይም ዲስኩ ከዞረ፣ ከብሬከሩ በፊት ሌላ ሰው መስመር ወስዷል፤ አለዚያም ቆጣሪው ራሱ ታሟል። ሁለቱም የእርስዎ ሥራ አይደሉም፤ ማህተሙን (ፕሎምፑን) እንዳይነኩ፣ የተበጠሰ ማህተም ጥፋቱን ወደ እርስዎ ያዞረዋል።

ብሬከሩ ሲጠፋ ቆጣሪው ቆሞ፣ ሲበራ ግን ሶኬቱ ሁሉ ተነቅሎም የሚቆጥር ከሆነ ችግሩ ከውስጥ ነው። ብዙ ጊዜ ተጠርጣሪው የውሃ ማሞቂያው (ቦይለሩ) ነው፤ በሶኬት ሳይሆን በቀጥታ ስለተገጠመ ይረሳል። ቧንቧ ሲነኩ ወይም ሻወር ሲከፍቱ ትንሽም ቢሆን የሚነዝር ከሆነ ደግሞ ጉዳዩ ከሂሳብ አልፏል። የማሞቂያው ዘንግ ተበልቶ ኤሌክትሪክ ወደ ውሃው እየፈሰሰ ሊሆን ይችላል። ወዲያው አጥፍተው ባለሙያ ይጥሩ፤ ኧርዙንም (ወደ መሬት የሚወርደውን የመከላከያ ሽቦ) አብረው ያስፈትሹ።

ቆጣሪው ይፈጥናል ብለው ከጠረጠሩ ደግሞ በቤት የሚሠራ ፈተና አለ። ዲጂታል ቆጣሪ ፊቱ ላይ ለአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ስንት ጊዜ ብልጭ እንደሚል ተጽፏል፤ 1600 ነው እንበል። ሌላውን ሁሉ አጥፍተው 2000 ዋት የሚል የውሃ ማፍያ ብቻ ያብሩና ለአንድ ደቂቃ ይቁጠሩ። 53 ገደማ መሆን አለበት። የሰፈሩ ኃይል ደከም ካለ 45 ሊሆን ይችላል፣ ያ ጤነኛ ነው። 80 ከሆነ ግን ወይ ያልጠፋ ነገር አለ፣ ወይ ቆጣሪው እንዲመረመር ማመልከት ነው።

ሦስት ቤተሰብ፣ አንድ ቆጣሪ

ግቢ ተከራይቶ የኖረ ሁሉ ያውቀዋል። አከራይ «የናንተ ፍሪጅ ነው» ይላል፣ ተከራይ «የእማማ ምጣድ ነው» ይላል። እውነቱን ለመናገር ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የማንም አይደለም። ሦስቱ ቤቶች እያንዳንዳቸው 90 ኪሎ ዋት ሰዓት ቢጠቀሙ፣ ለየብቻ ቆጣሪ ቢኖራቸው ሁሉም እስከ 100 ባለው እርከን ውስጥ ነበሩ። በአንድ ቆጣሪ ሲደመሩ 270 ይሆናሉ። ሁለት እርከን ወደ ላይ፣ ታክሱም ተጨምሮ።

ለየክፍሉ ከውስጥ ትንሽ ቆጣሪ ማስገጠም ጸቡን ያበርዳል፤ ማን ስንት እንደተጠቀመ ይታወቃላ። እርከኑን ግን አይቀንሰውም፣ ዋናው ቆጣሪ አሁንም አንድ ነው። የሚቀንሰው ለየቤቱ ራሱን የቻለ ቆጣሪ ማስገባት ነው፤ ያ ደግሞ የባለቤቱን ፈቃድ ይፈልጋል። እስከዚያው በሰው ቁጥር ማካፈል ቀርቶ በውስጥ ቆጣሪው ንባብ ልክ ማካፈሉ ይሻላል።

ምጣዱ ይቆያል፣ ሂሳቡ ይጨምራል

እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ በኛ ቤት ትልቁ ተመጋቢ ይሄ ነውና። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3500 ዋት ገደማ ይስባል። ሁለት ሰዓት ተጋገረ ማለት 7 ኪሎ ዋት ሰዓት ሄደ ማለት ነው። ባለ 9 ዋት ኤልኢዲ አምፖል በየቀኑ አምስት ሰዓት ቢበራ ይህን ያህል ለመጨረስ አምስት ወር ይፈጅበታል። ልጆችን «መብራት አጥፉ» እያሉ ከመቆጣት በፊት ይህን ማሰብ ነው። (አሮጌዎቹ ባለ 60 እና ባለ 100 ዋት አምፖሎች ካሉ ግን ዛሬውኑ ይቀየሩ፤ እነሱ ሌላ ጉዳይ ናቸው።)

ምልክቱ «ድሮ ቶሎ ይግል ነበር፣ አሁን አልግል አለ» ከሆነ ሰዓቱን ይመልከቱ። አመሻሽ ላይ ሰፈሩ ሁሉ ሲያበራ ኃይሉ ይወርዳል፤ ከ220 ወደ 180 ቮልት ሲወርድ የ3500 ዋቱ ምጣድ ወደ 2300 ገደማ ይወድቃል። ሊጡ ያንኑ ሙቀት ይፈልጋል፤ ስለዚህ ጋገራው ይረዝማል፣ በረዘመ ቁጥርም ወደ አየር የሚባክነው ሙቀት ይበዛል። ጠዋት ወይም ከሰዓት በኋላ ቀደም ብሎ መጋገር ያለ ምንም ወጪ ይቆጥባል።

ጠዋትም ካልጋለ፣ ወይም እንጀራው በአንድ በኩል በስሎ በሌላ በኩል ዓይን ካላወጣ ሽቦው ነው። የተበጠሰ ሽቦ ጠምዝዞ መቀጠል የተለመደ ነው፤ በተቀጠለ ቁጥር ግን ያጥራል፣ ሲያጥር ብዙ ኃይል ይስባል፣ ቶሎም ይበጠሳል። ሁለተኛ ጊዜ ከተበጠሰ በመጀመሪያው ዋት ልክ ሙሉ ሽቦ ማስቀየር ይረክሳል። ሶኬቱ የሚግል ወይም የተቃጠለ ፕላስቲክ የሚሸት ከሆነ ደግሞ ምጣዱን ከዲቫይደር ያውጡት። 16 አምፔር የሚስብ ዕቃ ከብሬከር በቀጥታ የመጣ የራሱ መስመር፣ ባለ 4 ካሬ (4 ካሬ ሚሊ ሜትር) ሽቦ ይፈልጋል።

ከአጋገር በኩል ትርፉ የሚገኘው በቁጥሩ ነው። ምጣድን ለማጋል ብቻ አንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ይሄዳል፤ በሳምንት ሦስት ጊዜ ከመጋገር አንድ ጊዜ አብዝቶ መጋገር ሁለቱን ያተርፋል። ሊጡ፣ ማሰሻው፣ የተፈጨው ጎመን ዘር ሳይዘጋጅ ምጣዱን አያብሩ። የመጨረሻውን ሁለት እንጀራ ደግሞ አጥፍቶ ማስፋት ይቻላል፤ የምጣዱ ሸክላ ሙቀት ይይዛል፣ አክንባሎው በደንብ እስከገጠመ ድረስ ይበስላል።

የዓመት በዓል ወር ሂሳብ ሲጨምር ቆጣሪውን አይክሰሱ። የዶሮው ቁሌት ብቻ ስቶቩን ግማሽ ቀን ይይዘዋል።

ቦይለርና ፍሪጅ

ቦይለር ቀኑን ሙሉ ሲበራ ማንም ባይታጠብም የቀዘቀዘውን እያሞቀ ይውላል። ከመታጠብ በፊት አብርቶ፣ ሲሞቅ ማጥፋት። የፍሪጁን በር ላስቲክ ለመፈተሽ ወረቀት አስገብተው ይዝጉ፤ ወረቀቱ ያለ ትግል ከወጣ ብርዱም እየወጣ ነው። ከግድግዳው ትንሽ ያርቁት፣ ትኩስ ድስት አያስገቡበት።

ከፍያለሁ፣ ያልተከፈለ ይላል

በቴሌብር ወይም በሲቢኢ ብር ከፍለው ገንዘቡ ተቆርጦ ዕዳው እንዳለ ከታየ ደግመው አይክፈሉ። መጀመሪያ የደንበኛ ቁጥሩን አሃዝ በአሃዝ ያስተያዩ፤ አንድ ቁጥር ተሳስቶ የጎረቤት ዕዳ የከፈለ ጥቂት አይደለም። ከመክፈልዎ በፊት የሚወጣውን ስም ማንበብ ይህን ይከላከላል። ቁጥሩ ትክክል ከሆነ የግብይት ቁጥሩን የያዘውን መልእክት ሳያጠፉ ይጠብቁ፤ በማግስቱም ካልተስተካከለ መልእክቱን ይዘው መጀመሪያ የከፈሉበትን ድርጅት፣ ቀጥሎ የመብራቱን ቅርንጫፍ ይጠይቁ።

በካርድ ቆጣሪ ላይ «የሞላሁት ሙሉ አልገባም» የሚለው ቅሬታ ብዙ ጊዜ መልሱ የአገልግሎት ክፍያ ነው። ሳይሞሉ ያለፉት ወራት ተጠራቅመው ሊቆረጡ ይችላሉ፤ ደረሰኙን ዝርዝር ያንብቡ።

«ሂሳብ በግማሽ ይቀንሳል» የሚባለው ሶኬት ላይ የሚሰካ ዕቃ

አይግዙት። ብዙውን ጊዜ ውስጡ ያለው አንዲት ኮንዴንሰር (ኤሌክትሪክ ለአፍታ የምትይዝ ትንሽ ዕቃ) እና የምታበራ ትንሽ መብራት ናት። የቤት ቆጣሪ የሚያስከፍለው በትክክል የተበላውን ኪሎ ዋት ሰዓት ነው፤ ኮንዴንሰሯ ያንን አትቀንስም። የተጠራጠረ ሰው ከላይ ያለውን የአንድ ደቂቃ ቆጠራ ዕቃው ተሰክቶና ተነቅሎ ይሥራው፤ ብልጭታው እኩል ነው።