የጓደኛን ውሻ በጋራ ጉዞ «አልጭንም» ማለት እንዴት ይቻላል? ከጅማ ወደ አዲስ አበባ ለሚወጡ

አራት አምስት ጓደኛሞች ነዳጅ ተካፍለው በአንድ መኪና ከጅማ አዲስ አበባ ሊወጡ ተቀጣጥረዋል። ጉዞው ጥቂት ቀን ሲቀረው አንዱ ይደውልና «ቡቺንም ይዤው ልመጣ ነው፤ እግር ስር ይተኛል፣ አያስቸግርም» ይላል። መኪናው የእርስዎ ነው፣ የሚነዱትም እርስዎ ነዎት። ውሻውን መጫን አይፈልጉም፣ ጓደኛዎን ማስቀየምም አይፈልጉም። እዚህ ላይ ቅያሜ የሚመጣው «አይሆንም» በመባሉ አይደለም። ዘግይቶ ወይም ተድበስብሶ ሲባል ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሕግ አጭር ነው፦ «እስቲ እናያለን» አይበሉ። በጓደኛሞች መካከል «እናያለን» የሚሰማው እንደ እሺ ነው። «ኢንሻአላህ»ም እንዲሁ። ጓደኛዎ ያንን ይዞ ውሻውን የሚጠብቅለት ሰው መፈለጉን ይተዋል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው «አይሆንም» ደግሞ ቃል ማፍረስ ይሆናል። ድንገት ከተያዙና አፍዎ ላይ ቃል ከጠፋ «መኪናው ውስጥ ያለውን ቦታና ሰዉን ላስብበት፣ ዛሬ ማታ 2 ሰዓት ላይ እደውልልሃለሁ» ይበሉ። ሰዓቱን ይጥቀሱ፣ በሰዓቱም ይደውሉ። ጉዞው ቅዳሜ ከሆነ መልሱ ቢዘገይ ማክሰኞ ማታ መድረስ አለበት፤ ጓደኛዎ ሌላ መላ የሚፈልግበት ሦስት ሙሉ ቀን ይቀረዋል። ዓርብ ማታ የተነገረ እምቢታ ምክንያቱ እውነት ቢሆን እንኳ ሰበብ ይመስላል።

ከመደወልዎ በፊት

መኪናውን ይቁጠሩት። ቪትዝ ወይም መሰል ትንሽ መኪና ከሆነ ሾፌሩ፣ ጋቢና አንድ፣ ኋላ ሦስት ሰው ነው። ኋላ ሦስት ሰው በተቀመጠበት፣ እግር ስር የሚባለው ቦታ የሰው ጫማና የእጅ ቦርሳ የሚሞላው ጠባብ ክፍተት ነው፤ 20 ኪሎ የሚመዝን ውሻ እዚያ ለሰባት ሰዓት አይተኛም። ከኋላ ያለው የዕቃ ቦታ ደግሞ ከጅማ ሲወጣ ባዶ አይሆንም። ቡናውም ማሩም ለአዲስ አበባ ዘመድ የተላከው ሁሉ እዚያ ነው። በተለይ ቡናውን ያስቡበት፦ ጥሬ ቡና ጠረን ይስባል። ውሻ አጠገቡ ሸንቶ ወይም አስመልሶ ማዳበሪያው ቢረጥብ፣ ፍሬው ታጥቦ ቢደርቅም ሽታው ሲቆላ ይመጣል። ውሻውም ቢሆን ጆንያውን ቀዶ ፍሬ ቢበላ ካፌይን ለውሻ መርዝ ነው።

ቀጥሎ ተሳፋሪዎቹን አንድ በአንድ ደውለው ይጠይቁ። የቴሌግራም ግሩፑ ላይ አይጠይቁ፤ እዚያ ሁሉም በይሉኝታ «ችግር የለም» ይልና መንገድ ላይ ፊቱን ያጠቁራል። ለብቻው ሲጠየቅ ግን እውነቱን ይናገራል። አንዷ አስም አለባት። አንዱ ውሻ ሲቀርበው ይደነግጣል። ጅማ ላይ ደግሞ ከአራት ተሳፋሪ ሁለቱ ሙስሊም ቢሆኑ የተለመደ ነው፤ የውሻ ምራቅ ልብስ ላይ ከነካ ነጃሳ ስለሆነ ሳይታጠብ ሶላት አይሰገድበትም፤ ዙሁር ሲደርስ ወልቂጤ ወይም ወሊሶ ላይ ልብስ የሚታጠብበት ቦታ ከየት ይመጣል? የጠየቋቸው ሰዎች የነገሩዎትን ግን ለራስዎ ይያዙ። «እከሊት አልፈልግም ብላ ነው» ማለት ጠብን ከእርስዎ ላይ አንስቶ ሌላ ሰው ላይ መጫን ነው፤ ሰባት ሰዓት አብረው ሊቀመጡ ነው። ውሳኔው የሾፌሩ ነው፣ በሾፌሩ ስም ይነገር።

መንገዱ ራሱ

ጓደኛዎ «ምን ችግር አለው?» ሲል የሚመልሱለት በቂ ነገር እንዲኖርዎት ይህን ይወቁ።

ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,750 ሜትር ገደማ ላይ ናት። መንገዱ በሰርቦ፣ በአሰንዳቦና በሶኮሩ አድርጎ ወደ ግቤ በረሃ ይወርዳል፤ የግቤ ወንዝ ድልድይ ያለበት ቦታ 1,100 ሜትር ገደማ ነው። ከዚያ እንደገና ወደ ወልቂጤ ዳገቱን ይወጣል። ቁልቁለቱም ዳገቱም ጥምዝምዝ ነው። መኪና ያልለመደ ውሻ የሚያስመልሰው እዚህ ነው። ምልክቱ ቀድሞ ይታያል፦ ከንፈሩን ደጋግሞ ይልሳል፣ ያዛጋል፣ ምራቁ እንደ ክር ከአፉ ይንጠለጠላል፣ ከዚያ ሆዱ መኮማተር ይጀምራል። ከዚህ በኋላ ያለው ጊዜ መኪና ጠርዝ አስይዞ ለማቆም አይበቃም፤ ጥምዝ ላይ ማቆምም አደጋ ነው። ከወንበር ጨርቅ ውስጥ የገባ ትውከት በሶፍት አይወጣም፣ ስፖንጁ ድረስ ይሰርጋል፤ የበረሃው ሙቀት ሲጨመርበት ተሳፋሪውንም ያስመልሰዋል።

ሁለተኛው ሙቀቱ ነው። ውሻ እንደ ሰው በመላ አካሉ አያልብም፤ የሚቀዘቅዘው በማለክለክ ነው። ጤናማ ውሻ የሰውነቱ ሙቀት ከ38 እስከ 39 ዲግሪ ነው፤ 41 ሲያልፍ ሕይወቱ አደጋ ላይ ነው። አፍንጫቸው የተደፈጠጠ ዝርያዎች ደግሞ ቶሎ ይወድቃሉ። ሰው ለምሳ ሲወርድ ውሻው የት ይቆያል? ምግብ ቤት አያስገቡትም። ውጭ 29 ዲግሪ ሲሆን ዝግ መኪና ውስጥ በ10 ደቂቃ 40፣ በ30 ደቂቃ 48 ዲግሪ ይደርሳል። መስኮት በትንሹ ከፍቶ መተው ብዙም ለውጥ አያመጣም። ስለዚህ ወይ አንድ ሰው ሳይበላ ውሻ ይጠብቃል፣ ወይ ውሻው ይቀቀላል።

ሦስተኛው ፍሬን ነው። በሰርቦም በአሰንዳቦም በገበያ ቀን መንገዱ ላይ አህያ፣ በሬ፣ ባጃጅ ድንገት ይገባል፤ ፍሬን አስጩኾ መያዝ በዚህ መስመር የየዕለት ነገር ነው። በ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የሚሄድ መኪና ቢጋጭ፣ ያልታሰረ ውሻ ከ14 ሜትር ከፍታ እንደተጣለ ያህል ጉልበት ይዞ ወደፊት ይወረወራል፤ አራት ፎቅ ማለት ነው። የሚያርፈው የሾፌሩ ማጅራት ላይ ወይም ጋቢና ያለው ሰው ላይ ነው። ሳይጋጭም ቢሆን የደነገጠ ውሻ በሾፌሩ እግር መካከል ገብቶ ፍሪሲዮንና ፍሬን ስር ይወተፋል።

ስለ እብድ ውሻ በሽታም ይጠይቁ። ክትባቱ ከሦስት ወር ዕድሜ ጀምሮ ይሰጣል፣ ይታደሳልም፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲከተብ መከላከያው እስኪያድግ ሦስት ሳምንት ገደማ ይፈጃል። «ነገ አስከትበዋለሁ» የሚል ተስፋ ለቅዳሜ ጉዞ አይሠራም። መኪና ውስጥ የተጨነቀ ውሻ ደግሞ ጨዋም ቢሆን ይነክሳል። ከነከሰ ወይም ከቧጠጠ ቁስሉን ወዲያው በውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ማጠብ፣ ከዚያ በቀጥታ ጤና ተቋም መሄድ ነው፤ ሶኮሩና ግቤ መካከል 15 ደቂቃ የሚወርድ የቧንቧ ውሃ አያገኙም።

ሲናገሩት

እነዚህን ሁሉ አይደርድሩበት። አንድ እውነተኛ ምክንያት ይምረጡ፣ እሱን ብቻ ይናገሩ። ምክንያት ሲበዛ ጓደኛዎ ቀላሉን ይመርጥና እሱን ይፈታዋል፦ «ሽታ ከሆነ አጥበዋለሁ»፣ «ቦታ ከሆነ እኔ አቅፈዋለሁ»። ከዚያ እሺ ማለት ግድ ይሆናል። የሐሰት ምክንያትም አይፍጠሩ። «አለርጂ አለብኝ» ያለ ሰው በሚቀጥለው በዓል ጓደኛው ቤት ሄዶ ውሻውን ሲዳብስ ይታያል።

ውሻውን አይንቀፉ። «ያ ውሻህ ያስጠላል» ያሉት ቃል ጉዞው ካለፈ በኋላም ይታወሳል። ስለ መንገዱና ስለ መኪናው ይናገሩ። በጽሑፍ ሳይሆን በድምፅ ይንገሩት፤ የተጻፈ እምቢታ ሲነበብ ከተጻፈው በላይ ይከብዳል። ሰላምታውን አሳጥረው፣ ወደ ነገሩ ቶሎ ይግቡ፦

«ወንድሜ፣ ስለ ቡቺ አስቤበት ነው የደወልኩት። መኪናዬ ላይ አልጭነውም። ፍሬን ስይዝ የሚይዘው ነገር የለም፤ ሰውም እሱም ይጎዳብኛል። አንተ ቦታህ እንዳለ ነው። ውሻውን የሚጠብቅልህ ሰው ካጣህ ዛሬውኑ አብረን እንፈልግ።»

እዚህ ውስጥ አራት ነገር አለ፦ ቁርጥ ያለው ቃል፣ አንዱ ምክንያት፣ የእሱ ቦታ መጠበቁ፣ የሚረዱበት መንገድ። «አልችልም ይመስለኛል» ወይም «ባይሆን ይሻላል» አይበሉ፤ ለድርድር በር ይከፍታል። ለሴት ጓደኛ «አንቺዬ» ተብሎ ያው ነው። በዕድሜ ለሚበልጥ ሰው ግን ቃሉ ይለዝባል፣ ፍሬው አይለወጥም፦ «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ውሻ ጭኜ ይህን ቁልቁለት ለመንዳት ድፍረቱ የለኝም። እርስዎን ከቤትዎ እወስድዎታለሁ፤ ለውሻው ግን ሌላ መላ እንፈልግ።»

ጓደኛዎ ይከራከራል፤ መከራከሩ ከፍቅር ነው፣ አይቆጡት። «የሚያስተኛ ኪኒን እሰጠዋለሁ» ሊል ይችላል። ይህን አጥብቀው ይከልክሉ። የሰው ማስተኛ ለውሻ አይሰጥም፤ የእንስሳ ሐኪም ያላዘዘው ማደንዘዣ የደም ግፊቱን ይጥላል፣ በሙቀት ጊዜ ሰውነቱን ማቀዝቀዝም ያቅተዋል። «ፖርቶመጋላ ላይ እናስረው» ካለም መልሱ አይሆንም ነው፤ በገመድ የታሰረ ውሻ ሲዘል ይታነቃል። «ነዳጅ ላይ እጨምራለሁ» ሲል ስለ ገንዘቡ አንድም ቃል አይነጋገሩ፤ «ስንት?» ካሉ እምቢታው ዋጋ ወጣለት ማለት ነው። ለሁሉም መልሱ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ነው፦ «ገብቶኛል ወንድሜ፣ ግን አልጭነውም።» ሦስት ጊዜ በአንድ ዓይነት ድምፅ ከተባለ ክርክሩ ይበርዳል።

የሚረዱበት መንገድ

ጉዞው ለጥቂት ቀን ከሆነ ውሻው ጅማ ይቆይ። ከማያውቀው ሰው ቤት ይልቅ ግቢው ውስጥ ቢቆይና ዘበኛው ወይም ጎረቤት ቢመግበው ይሻላል። 20 ኪሎ ለሚመዝን ውሻ በቀን ከ1 ሊትር እስከ 1.2 ሊትር ንጹሕ ውሃ ያስፈልገዋል፤ ሲሞቅ ይጨመራል። ምግቡን በቀን ሁለቴ፣ የለመደውን ብቻ። የሥጋ ቤት ሳንባም ቢሆን ተቀቅሎ ይሰጠው። ለሚመግበው ሰው ሁለት ነገር ደጋግመው ይንገሩ፦ የወጥ ትራፊ አይሰጥ፣ ሽንኩርቱ የውሻን ደም ይጎዳል፤ የተቀቀለ የዶሮ አጥንት አይሰጥ፣ ተሰንጥሮ አንጀት ይወጋል። ለምግቡ የሚሆን ብርና የጓደኛዎ ስልክ ቁጥር ቀድሞ ይሰጥ። ቢታመም፣ ውሻው ያለው ጅማ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና በሚያስተምርበት ከተማ ውስጥ ነው፤ ከመንገድ ይልቅ እዚህ ዕድሉ የተሻለ ነው።

ጓደኛዎ ጓዙን ጠቅልሎ አዲስ አበባ የሚገባ ከሆነ ነገሩ ይለያል፤ ውሻው መሄዱ አይቀርም። ያኔ ዕቃውን የሚጭንለትን መኪና ሲያፈላልግ ያግዙት፤ ጓደኛዎ ራሱ ከውሻው ጋር ይሂድ። ሣጥኑ ውሻው ቆሞ ጆሮው ጣሪያውን የማይነካበት፣ ዞሮ የሚተኛበት፣ አየር በሁለት ወገን የሚያስገባ ይሁን፤ ራሱም ከመኪናው ጋር ይታሰር። ከመነሳቱ ስድስት ሰዓት ቀድሞ ምግብ ይቁም፣ ውሃ ግን አይከልከል። ንጋት 12 ሰዓት ቢነሱ ግቤን ፀሐዩ ሳይበረታ ያልፋሉ። በየሁለት ሰዓቱ ማረፍ፤ ሣጥኑ ከመከፈቱ በፊት ማሰሪያው አንገቱ ላይ መሆኑን ማየት፣ በማያውቀው ቦታ ያመለጠ ውሻ ሲጠሩት አይመለስም።

የጉዞው ጠዋት

አንዳንዱ «ሲያየው ይራራል» ብሎ ውሻውን ይዞ ይመጣል። ይህን አስቀድመው ያስቡት፦ ሰው ሲሰበስቡ መጀመሪያ የሚወስዱት የውሻውን ባለቤት ይሁን፣ ከደጃፉ። መናኸሪያ ወይም ፈረንጅ አራዳ ሰፈር ተቀጣጥረው ሰው ሁሉ ተሳፍሮ ከሆነ ውሻውን ወደ ቤት መመለስ የሁሉንም ሰዓት ይበላል፤ ያኔ ተሳፋሪው ራሱ «በቃ ይግባ» ይላል። ደጃፉ ላይ ከሆኑ ግን ግቢው እዚያው ነው። ከመኪናው ይውረዱ፣ የኋላውን በር አይክፈቱ፣ «20 ደቂቃ እጠብቅሃለሁ፣ ለዘበኛው ስጠውና ና» ይበሉት። ድምፅዎን አይጨምሩ።

ያለ ውሻው አልሄድም ካለ የነዳጅ ድርሻውን እዚያው፣ ሳይቀንሱ በሙሉ ይመልሱለት። ድርሻው ለቀሩት ሲከፋፈል ስንት እንደሚሆን ለሌሎቹ ከማክሰኞው ስልክ ጋር ነግረዋቸው ቢሆን ጥሩ ነው፦ 4 ሰው የሚከፍለውን 3 ሰው ሲከፍለው የእያንዳንዱ ድርሻ በሲሶ ይጨምራል። ይህ ለተሳፋሪዎቹ ካልተነገረ መንገዱ ላይ ሒሳቡ ሲነሳ «ውሻውን ጭነነው ቢሆን ኖሮ» የሚል አይጠፋም።