መርፌ፣ ኪኒን ወይስ ኦፕራሲዮን? ክብደት ለመቀነስ የቱን ልምረጥ ለምትሉ

አሁን አሁን ልቅሶ ቤት ሳይቀር ወሬው መርፌ ሆኗል፣ እገሊት ማውንጃሮ ጀምራ ቀሚሷ ሁሉ ሰፋት፣ እገሌ ቱርክ ሄዶ ጨጓራውን አስቆረጠ፣ ከዛ ሁሉም "እኔስ የቱ ይሻለኛል" ይላል። እኔ አሜሪካ ፋርማሲ ውስጥ ነው የምሰራው፣ ሀኪም አይደለሁም፣ ግን ሰው ምን ጀምሮ የቱ ጋ እንደሚያቆም በየቀኑ አያለሁ። ሁሉም የሚጠይቀው "ስንት ኪሎ ይቀንሳል" ብሎ ነው። በኔ እምነት ግን መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት "ሳቆመውስ ምን ይሆናል" የሚለው ነው፣ ከዛ ከተነሳችሁ ምርጫው ራሱ እየጠበበ ይመጣል።

በመጀመሪያ ነገሩ እናንተን ይመለከታችኋል ወይ? ሀኪሞች የሚያዩት ቢኤምአይ የሚሉትን ነው፣ ኪሎአችሁን ለቁመታችሁ በሜትር ሁለት ጊዜ ታካፍሉታላችሁ። 30 እና ከዛ በላይ ከሆነ ለመድሃኒት ትታያላችሁ፣ 27 ሆኖ ደም ግፊት፣ ስኳር፣ ኮሌስትሮል ወይ እንቅልፍ ላይ ትንፋሽ የመቆራረጥ ችግር ካለም እንደዛው። ቁመቷ 1.65 ሜትር የሆነች ሴት 30 የምትገባው 82 ኪሎ አካባቢ ላይ ነው። ለሰርግ 4 ኪሎ ላውርድ ለምትሉ ይሄ ሁሉ አይደለም የናንተ ነገር፣ በቃ ተዉት።

ወደ መርፌው ልግባ፣ ሰው የሚጠይቀው እሱን ስለሆነ። ኦዘምፒክና ዊጎቪ ውስጣቸው ያለው አንድ መድሃኒት ነው፣ ሰማግሉታይድ፣ ግን ኦዘምፒክ የተፈቀደው ለስኳር ነው ዊጎቪ ደግሞ ለክብደት፣ ኢንሹራንስ ደግሞ የሚያየው ይሄን ነው። ማውንጃሮና ዜፕባውንድም እንደዛው ናቸው፣ ሁለቱም ቲርዜፓታይድ፣ የመጀመሪያው ለስኳር ሁለተኛው ለክብደት። ስለዚህ ስኳር ያለበት ሰው በስኳሩ በኩል ቢሄድ ኢንሹራንሱ የመክፈል እድሉ ሰፊ ነው፣ ስኳር የሌለበት ሰው ግን ሀኪሙ ጋ ከመሄዱ በፊት ኢንሹራንሱ ጋ ደውሎ "ለክብደት መቀነሻ መድሃኒት ትከፍላላችሁ ወይ" ብሎ ቢጠይቅ ብዙ ምልልስ ይቀርለታል።

ስለ ልዩነታቸው ከጠየቃችሁኝ፣ በጥናት ላይ ሰማግሉታይድ በ68 ሳምንት ከሰውነት ክብደት 15% ገደማ አስቀንሷል፣ ቲርዜፓታይድ በትልቁ ዶዝ በ72 ሳምንት 21% ገደማ። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርገው ሲያወዳድሯቸውም ቲርዜፓታይድ በልጧል፣ 20 ለ14 ገደማ። ግን ሰማግሉታይድ የልብ በሽታ ያለበት ወፍራም ሰው ላይ ሃርት አታክና ስትሮክን ጨምሮ ከባድ የልብ አደጋን በ20% እንደቀነሰ በትልቅ ጥናት ታይቷል፣ ስለዚህ ልባችሁ ችግር ካለበት "የበለጠ የሚያከሳው" ብቻ ብላችሁ አትምረጡ፣ ከካርዲዮሎጂስታችሁ ጋር ተነጋገሩ።

አሁን ወደዛች ጥያቄ፣ ሲቆምስ? ሰማግሉታይድ ያቆሙ ሰዎችን ተከታትለው ሲያዩ በአንድ አመት ውስጥ ከቀነሱት ሁለት ሶስተኛው ተመልሷል። 15 ኪሎ የቀነሰ ሰው 10 ያህሉ ተመለሰበት ማለት ነው። ይሄ ስንፍና አይደለም፣ መድሃኒቱ የሚሰራው የምግብ ፍላጎትን ዝቅ አድርጎና ጨጓራ ቶሎ ባዶ እንዳይሆን አዘግይቶ ነው፣ ሲወጣ ረሃቡ ይመለሳል፣ የደም ግፊት ኪኒን ሲቆም ግፊቱ እንደሚመለሰው ማለት ነው። ስለዚህ ለ3 ወር ብቻ መክፈል የምትችሉ ከሆነ አትጀምሩት እላለሁ፣ ሙሉ ዶዙ ላይ ለመድረስ ራሱ 4 ወር ገደማ ይፈጃል። ከ0.25 ሚሊግራም ተነስቶ በየ4 ሳምንቱ ቀስ እያለ ነው የሚጨመረው፣ ቶሎ ልክሳ ብሎ የዘለለ ሰው በማስመለስ ነው የሚቀጣው።

ማቅለሽለሽ፣ ድርቀት፣ ተቅማጥ፣ ቃር፣ እነዚህ የተለመዱ ናቸው፣ አብዛኛው ሰው ላይ ዶዝ ሲጨመር ይብሳል ከዛ ይረጋል። በቤተሰብ ውስጥ ሜዱላሪ የሚባለው የታይሮይድ ካንሰር ካለ ግን ጭራሽ አይወሰድም፣ ቆሽታችሁ ከዚህ በፊት ታሞ የሚያውቅ ከሆነም ለሀኪሙ ንገሩ። ለመውለድ ያሰባችሁ ሴቶች፣ ሰማግሉታይድ ከእርግዝና ቢያንስ 2 ወር በፊት መቆም አለበት፣ ቲርዜፓታይድ የምትወስዱ ደግሞ የወሊድ መቆጣጠሪያ ኪኒናችሁን ስራ ሊያዳክምባችሁ ይችላል፣ ስትጀምሩና ዶዝ በተጨመረ ቁጥር ለ4 ሳምንት ኮንዶም ጨምሩ። ይሄን የማይነገራቸው ብዙ ናቸው።

የቆዩት ኪኒኖች ከመርፌው ይረክሳሉ፣ የሚቀንሱትም ያን ያህል ያነሰ ነው። ኦርሊስታት ከምትበሉት ስብ ሲሶውን ያህል እንዳይገባ ያደርጋል፣ ያልገባው ስብ በየት እንደሚወጣ ግን አስቡት፣ ቅቤ የጠጣ ክትፎ በልቶ በነጭ ሱሪ ስራ መግባት የለም። ፌንተርሚን ደግሞ የቆየ መድሃኒት ነው፣ ለአጭር ጊዜ ነው የተፈቀደው፣ ልብ ያስመታል፣ ግፊት ይጨምራል፣ እንቅልፍ ይነሳል፣ በዛ ላይ አቦል ቶና በረካ ሲደረብበት ሌሊቱን ጣራ ሲያዩ ማደር ነው። ግፊት ወይ የልብ ችግር ላለበት አይሆንም። ፌንተርሚን ከቶፒራሜት ጋር የተቀላቀለው ፅንስ ላይ የከንፈር መሰንጠቅ ሊያመጣ ይችላል ስለዚህ እርጉዝ አትወስደውም። ናልትሬክሶንና ቡፕሮፒዮን ያለበት ደግሞ የሚጥል በሽታ ላለበትና ኦፒዮይድ (እንደ ሞርፊን ያለ ጠንካራ) ማስታገሻ ለሚወስድ ክልክል ነው።

ኦፕራሲዮኑ፦ ሰው ይፈራዋል ግን ብዙ ለሚከብድ ሰው፣ በተለይ ስኳር ካለበት፣ ከሁሉም ረጅም ጊዜ የሚቆየው ውጤት የሱ ነው። ከ2022 ጀምሮ የሙያ ማህበራቱ ቢኤምአይ 35 እና ከዛ በላይ ለሆነ ሁሉ ይመክሩታል፣ ከ30 እስከ 35 ለሆነ ደግሞ ስኳር ካለበት ይታሰባል። ስሊቭ የሚባለው ከጨጓራው 75 እስከ 80% ያህሉን ቆርጦ ያወጣል፣ አይመለስም፣ ቃር ያለበት ሰው ላይ ቃሩን ሊያብሰው ስለሚችል ለሱ ባይፓስ (ጨጓራውን አሳንሶ ምግቡ የአንጀቱን መጀመሪያ እንዲዘል የሚያደርገው) ይሻለዋል ይባላል። ባይፓስ የተደረገለት ሰው ግን አይቡፕሮፌን እንደልቡ አይውጥም፣ ቁስለት ያመጣበታል፣ መጠጥም ቶሎ ይመታዋል። እድሜ ልክ ቢ12፣ አይረን፣ ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ መውሰድና በየጊዜው ደም መመርመር አለ። እርግዝናም ከ12 እስከ 18 ወር ይጠብቃል።

ኢስታንቡል ርካሽ ነው ብላችሁ የምትሄዱ፣ ሂዱ አትሂዱ አልልም፣ ግን የተሰፋው ቦታ ማፍሰስ የሚጀምረው አንዳንዴ ቤታችሁ ከገባችሁ በኋላ ነው። ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ስትመለሱ ማን እንደሚያያችሁ በስም እወቁ፣ ከመዳናችሁ በፊት አውሮፕላን ላይ እንዳትሳፈሩም ቀናችሁን አስፉ።

ጾም ላይ ስንመጣ ብዙ ጥያቄ አለ። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፣ መርፌ የሚወስድ ሰው ድሮም ብዙ ምግብ አይበላም፣ እስከ ዘጠኝ ሰአት ውሃ ሳይጠጣ ቆይቶ ከዛ ብዙ ሲበላ ያስመልሰዋል፣ ውሃ ከሰውነቱ ያልቃል፣ ኩላሊት ይጎዳል። እኔ የምለው ጾሙ ሊገባ ሲል አትጀምሩ ዶዝም አታስጨምሩ፣ ረመዳን የምትጾሙም እንዲሁ። ኢንሱሊን ወይ እንደ ግሊቤንክላማይድ ያለ የስኳር ኪኒን አብራችሁ ከወሰዳችሁ ስኳራችሁ ሊወርድ ስለሚችል ጾሙ ከመግባቱ በፊት ሀኪማችሁ ዶዙን ያስተካክል፣ የንስሐ አባታችሁንም አናግሩ፣ ለታመመ ፈቃድ አለ። ምግቡ ሲያንስ ጡንቻም አብሮ ስለሚሄድ እንጀራውን ቀንሳችሁ ምስሩን፣ ሽሮውን፣ ባቄላውን አብዙ፣ ፍስክ ሲሆን እንቁላልና ስጋውን።

አዲስ አበባ ላለ ዘመድ በሻንጣ መላክም አለ። ያልተከፈተ መርፌ ፍሪጅ ውስጥ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ነው የሚቀመጠው፣ ከመቀዝቀዝ አልፎ በረዶ ከሆነ ይጣላል፣ ለዛ ዘመድ ደግሞ ማን ነው ዶዙን የሚከታተለው? በቴሌግራም የሚሸጠውንማ ተዉት፣ የአለም ጤና ድርጅት በ2024 ሀሰተኛ ኦዘምፒክ እየተሸጠ ነው ብሎ አስጠንቅቋል። በብልቃጥ መጥቶ ራሳችሁ በሲሪንጅ የምትቀዱት አይነትም ላይ ቁጥሩን አሳስተው ብዙ እጥፍ የወጉ ሰዎች ሆስፒታል ገብተዋል።

ሀኪም ጋ ስትገቡ የምትወስዱትን መድሃኒት ሁሉ ፎቶ አንስታችሁ ያዙ፣ ዳማከሴውንም ፌጦውንም ሳትደብቁ፣ ከዛ እነዚህን ጠይቁ፦ ለኔ ይሄ ለምን ተመረጠ፣ በስንት ወር ካልሰራ እንቀይራለን፣ ኢንሹራንሴ ቢያቆም እቅዱ ምንድነው። ለመጨረሻው ጥያቄ መልስ የሌለው ሀኪም ካጋጠማችሁ ሌላ ፈልጉ።

ጀምራችሁ ደግሞ ከሆድ ተነስቶ ወደ ጀርባ የሚሄድ የማይለቅ ከባድ ህመም፣ ከቀኝ ጎድን ስር ህመም ከትኩሳት ወይ ከአይን ቢጫ መሆን ጋር፣ ወይ ውሃ እንኳን የማያስቀምጥ ትውከት ከመጣ ቀጣዩን መርፌ አትውጉ፣ ቀጠሮ ሳትጠብቁ የዛኑ ቀን ኢመርጀንሲ ሂዱና ምን እንደምትወስዱ መጀመሪያ ንገሯቸው።