ሬሲንግ ጌም ላይ መኪና የሚያሳጧችሁ ስህተቶች፦ ነገሩ ክብደቱ ነው

ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ጌም ቤት ገብታችሁ ሬሲንግ የሚጫወቱ ልጆች ጀርባ ትንሽ ብትቆሙ የምትሰሙት ወይ "መኪናው አልዞርም አለኝ" ነው ወይ "ጆይስቲኩ ተበላሽቷል" ነው። አዎ ኤል 2ቱ (የፍሬኑ ቁልፍ) የላላ ጆይስቲክ አይጠፋም፣ ግን አብዛኛውን ጊዜ መኪናውም ጆይስቲኩም ደህና ናቸው፣ ያልታየው ነገር ክብደቱ በዛች ሰከንድ የትኛው ጎማ ላይ እንደተጫነ ነው። ግራን ቱሪስሞ 7ም ሆነ አሴቶ ኮርሳ የሚባሉት ጌሞች ይሄንን በየቅጽበቱ ያሰሉታል፣ ስለዚ እሱን ሳትረዱ የዙር ሰአት ማሻሻል በጣም ከባድ ነው። ሁሌ የማያቸውን ስህተቶች አንድ በአንድ ልንገራችሁ።

የመጀመሪያው የክብደት ክፍፍልን የማይነቃነቅ ቁጥር አድርጎ ማሰብ ነው። "50 በ50" የሚባል፣ ግማሽ ክብደቱ ፊት ግማሹ ኋላ ያለ መኪና እኮ 50 በ50 የሚሆነው ሲቆም ወይ ፍጥነቱን ሳይቀይር ቀጥ ብሎ ሲሄድ ነው። ፍሬን ስትይዙ ክብደቱ ወደ ፊት ይሄዳል፣ ነዳጅ ስትሰጡ ወደ ኋላ፣ ወደ ግራ ስትታጠፉ ደግሞ ወደ ቀኝ ጎማዎች። ወደ አዘዞ ስትወርዱ የሚኒባሱ ሹፌር ድንገት ፍሬን ሲይዝ ተሳፋሪው በሙሉ ወደ ፊት እንደሚደፋው ማለት ነው። ምን ያህል እንደሚሄድ በቁጥር እንየው፦ መኪናው 1200 ኪሎ ነው እንበል፣ ግማሹ ከፊት ግማሹ ከኋላ፣ ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ 2.5 ሜትር፣ የክብደቱ ማእከል ከመሬት 0.5 ሜትር ከፍ ያለ። ፍሬኑን ጠበቅ አድርጋችሁ 1 ጂ በሚባለው መጠን (የመሬት ስበትን በሚያህል ኃይል) ስትይዙት፣ 1200ን በ0.5 አባዝታችሁ ለ2.5 ስታካፍሉት 240 ኪሎ ይመጣል። በቃ 240 ኪሎ ከኋላ ተነስቶ ፊት ላይ ተጫነ፣ ፊት 840 ኋላ 360። ያው መኪና ነው፣ ግን ኤል 2ን ስለጫናችሁ ብቻ 70 በ30 ሆነ።

ከዚ ቀጥሎ ያለው ስህተት ከዚሁ የሚወለድ ነው፣ ፍሬን ሙሉ በሙሉ ተይዞ እያለ መሪውንም ሙሉ በሙሉ ማጠፍ። ጎማ አስፋልት የሚይዝበት አቅም ውስን ነው፣ ሁሉንም ለፍሬን ከሰጣችሁት ለመታጠፍ የሚተርፍ የለም፣ ስለዚ መኪናው ቀጥ ብሎ ይሄድና ግድግዳ ይስማል፣ ወይ ደግሞ ኋላው ቀሎ ስላለ ዞሮ ፊቱን ወደመጣበት ያደርጋል። ቀጥ እያላችሁ ጠንክራችሁ ያዙ፣ ከዛ መሪውን ማጠፍ ስትጀምሩ ፍሬኑን ቀስ እያላችሁ ልቀቁ። ቀስ ብሎ መልቀቁ ነው ዋናው ነገር፣ ምክንያቱም ክብደቱ ፊት ጎማ ላይ እንዳለ ይቆይላችኋል፣ ፊቱ ነክሶ ይገባል። ኤል 2 የሚጫነው በደረጃ ነው፣ እንደ መብራት ማብሪያ በርቶ ጠፍቶ የሚሠራ አይደለም።

ሦስተኛው ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ጥሩ መኪና የሚጠላው በዚ ነው። ፖርሼ 911 ይዞ ኩርባ መሀል ላይ ደንግጦ ነዳጁን በአንዴ መልቀቅ። የ911 ሞተር ከኋላ ጎማዎች በስተኋላ ነው የተሰቀለው፣ ከክብደቱ 60 ፐርሰንት አካባቢ ኋላ ላይ ነው። ነዳጅ እየሰጣችሁ ከኩርባ ስትወጡ ይሄ ክብደት ጎማውን መሬት ላይ ይጫንላችኋል፣ ከብዙ መኪና ቀድማችሁ ጋዝ መስጠት ትችላላችሁ። ግን መሀል ላይ አር 2ን (የነዳጁን ቁልፍ) በአንዴ ስትለቁ ክብደቱ ወደ ፊት ይዘላል፣ ኋላ ጎማዎቹ ይቀላሉ፣ ያ ሁሉ ሞተር ደግሞ ቀጥ ብዬ ልሂድ ስለሚል ኋላው ይወጣል። አንዴ መዞር ከጀመረ ማቆም ይከብዳል። ይሄ የጌም ፈጠራ አይደለም ጎበዝ፣ እውነተኛው መኪናም እንደዚ ነበር፣ ፋብሪካው ራሱ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የፊት ባምፐሩ ውስጥ ከባድ ብረት እስከመክተት ደርሷል፣ ለ1969 ሞዴል ደግሞ በፊትና በኋላ ጎማ መሀል ያለውን ርቀት 57 ሚሊ ሜትር አስረዝሞ ሚዛኑን አሻሻለው። እና 911 ስትይዙ ፍጥነታችሁን መቀነሱን ኩርባው ሳይጀምር ጨርሱ፣ ከገባችሁ በኋላ ትንሽም ቢሆን ነዳጅ ላይ ሁኑ፣ መቀነስ ካለባችሁም በጥቂቱ ቀንሱ።

በፊት ጎማው የሚጎተት መኪና ላይ ያለው ስህተት የዚ ተቃራኒ ነው። ግራን ቱሪስሞ 7 መጀመሪያ አስመርጦ የሚሰጣችሁ ሦስቱም መኪኖች፣ ቶዮታ አኳ፣ ሆንዳ ፊት (Fit)፣ ማዝዳ ዴሚዮ፣ ሞተራቸውም ጉልበታቸውም ፊት ነው፣ ከተማችን ውስጥ እንደምናየው ቪትዝ ማለት ነው። ፊቱ ጎማ ይሸከማል፣ ይጎትታል፣ ይታጠፋል፣ ሁሉም ሥራ እሱ ላይ ነው። ፊቱ መንሸራተት ሲጀምር ልጆቹ ምን ያደርጋሉ፣ መሪውን የበለጠ ያጥፋሉ፣ ነዳጁንም አይለቁም። ጎማው መያዝ ካቆመ በኋላ ማጠፍ መጨመር የበለጠ ያንሸራትተዋል እንጂ አያዞረውም። እዚ ላይ ነው ነዳጅ መቀነስ የሚጠቅመው፣ ትንሽ ስትለቁ ክብደት ወደ ፊት ይመጣል፣ መሪውንም ትንሽ መለስ ስታደርጉት ጎማው እንደገና ይይዛል።

"50 በ50 ያልሆነ መኪና አይረባም" የሚለውም ትክክል አይደለም። ማዝዳ ሮድስተር ወደዛ የተጠጋ ነው፣ ለመማር ከሱ የተሻለ መኪና አላውቅም፣ ግን ፎርሙላ 1 መኪና ራሱ ከግማሽ በላይ ክብደቱ ኋላ ላይ ነው፣ ምክንያቱም የሚገፋው የኋላው ጎማ ነው።

አሁን ከልቤ የሚያንገበግበኝ። ልጁ ስንት ውድድር ተጫውቶ ያጠራቀመውን ክሬዲት በሙሉ ሞተርና ተርቦ ላይ ያፈሰዋል፣ ከዛ መኪናው ቀጥታ መንገድ ላይ ይበራል፣ ኩርባ ላይ ግን አይያዝም። ቅድሚያ ጥሩ ጎማ፣ ቀጥሎ ክብደት መቀነስ። ቀላል መኪና ቶሎ ይቆማል፣ ቶሎ ይታጠፋል፣ ቶሎም ይነሳል፣ ሞተር ግን ቶሎ መነሳቱን ብቻ ነው የሚሰጣችሁ። ሞተር ከቀየራችሁ ደግሞ የፊትና የኋላ ሚዛኑን ተመልከቱ፣ ፎርዛ የሚባለው ጌም ላይ የፊቱ ክብደት በፐርሰንት ተጽፎ ይታያል፣ ትልቅ ሞተር ፊት ላይ ከጫናችሁ ቁጥሩ ሲያድግ ታዩታላችሁ። ግራን ቱሪስሞ 7 ላይ ባላስት የሚባል አለ፣ ክብደት ጨምራችሁ ወደ ፊት ወይ ወደ ኋላ የምታንሸራትቱት፣ ፖርሼ ባምፐር ውስጥ እንደከተተው ብረት ነው የሚሠራው፣ ግን ክብደት መጨመር ስለሆነ ሌላው ሁሉ ተሞክሮ ሲያልቅ ይሁን።

ነዳጅም ክብደት ነው፣ 60 ሊትር ቤንዚን 45 ኪሎ አካባቢ ይሆናል። አሴቶ ኮርሳ ላይ ለ5 ዙር ታንከር ሞልቶ መውጣት በከንቱ መሸከም ነው።

የመጨረሻው ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ ሞላውንም አንቲ ሮል ባሩንም (መኪናው ሲታጠፍ ወደ ጎን እንዳያዘም የሚይዘውን ብረት) እስከ ጥግ ማጠንከር ነው፣ "ውድድር መኪና ድርቅ ያለ ነው" ተብሎ። ጎማ ላይ የተጫነው ክብደት እጥፍ ሲሆን የመያዝ አቅሙ እጥፍ አይሆንም፣ ያንሳል፣ ስለዚ የአንዱን ጎማ ጭነት ወደ ሌላው በብዛት ስታዛውሩ የሁለቱ ድምር ይቀንሳል። የፊቱን አንቲ ሮል ባር ስታጠነክሩ ፊት ላይ ከግራ ቀኝ የሚዛወረው ይበዛል፣ ፊቱ ቀድሞ ይንሸራተታል። የኋላውን ስታጠነክሩ ኋላው። መኪናው አልዞርም ካላችሁ የፊቱን ብቻ ሁለት ደረጃ አላሉት፣ ሌላ ምንም ሳትነኩ ያንኑ ኩርባ በዛው ፍጥነት ግቡበትና ልዩነቱን እዩት፣ ኋላው መውጣት ከጀመረ አንድ ደረጃ መልሱት።