በብዙ ትሬድ የሚሄድ ስሌት፦ ቁጥሩ ለምን እንደሚለዋወጥና ፍጥነቱ የት እንደሚቆም እንዴት ይፈተሻል?

ትሬድ ማለት በአንድ ፕሮግራም ውስጥ ከሌሎች ጋር ጎን ለጎን የሚሄድ የሥራ ክር ነው። አንድ የስሌት ፕሮግራም በአንድ ትሬድ ሲሄድ 0.7312648190245571 አለ እንበል። ስምንት ትሬድ ሲሰጡት 0.7312648190245563 ይላል። ምንም ሳይነኩ ሲደግሙት ደግሞ 0.7312648190245568 ይላል። ዳታው ያው፣ ኮዱም ያው ነው። እዚህ ላይ ሰው በሁለት መንገድ ይሳሳታል። አንዱ ደንግጦ ብዙ ትሬድ መጠቀሙን እርግፍ አድርጎ ይተወዋል። ሌላው «የነጥብ ቁጥር ጠባይ ነው» ብሎ ያልፈዋል፤ ነገ ልዩነቱ ሦስተኛው አሃዝ ላይ ሲደርስም በዚያው ልማድ ያልፈዋል። የሁለተኛው ስህተት ይብሳል፤ የተሳሳተ ውጤት እንደ ትክክለኛ ተቆጥሮ የሚወጣው በዚህ መንገድ ነውና።

ከዚህ በታች ያለው አሠራር በሲ፣ በሲ ፕላስ ፕላስ ወይም በፎርትራን ሥራን ለትሬዶች ከሚያከፋፍለው ኦፕንኤምፒ ጋር ለሚሠሩ፣ በፓይተን የስሌት ላይብረሪውን ነምፓይን ለሚጠቀሙም ያገለግላል።

በመጀመሪያ አራት ቁጥር በወረቀት ላይ

ዳብል የሚባለው ባለ 64 ቢት ቁጥር ለአሃዞቹ 53 ቢት ብቻ አለው፤ ይህ ከ15 እስከ 16 አሃዝ ይይዛል። ስለዚህ 2⁵³ ማለትም 9,007,199,254,740,992 ካለፉ በኋላ ሙሉ ቁጥሮች እንኳ ሁለት ሁለት እየዘለሉ ይሄዳሉ። 10¹⁶ ላይ 1 ቢደምሩ ውጤቱ ተጠጋግቶ እዚያው 10¹⁶ ይሆናል፤ አንዷ ጠፋች ማለት ነው።

አሁን እነዚህን አራቱን ይደምሩ፦ 10¹⁶፣ 1፣ −10¹⁶፣ 1። ትክክለኛው ድምር 2 ነው።

አንድ ትሬድ በተራ ሲደምራቸው የመጀመሪያዋ 1 ትጠፋለች፤ 10¹⁶ እና −10¹⁶ ይጣፋሉ፤ የመጨረሻዋ 1 ትተርፋለች። ውጤት 1። ሁለት ትሬድ ግማሽ ግማሽ ሲካፈሉ፣ የመጀመሪያው 10¹⁶ ሲያገኝ ሁለተኛው −10¹⁶ ያገኛል፤ ሁለቱም 1 ጠፍተዋል። ውጤት 0። ሁለቱ ትሬዶች አንድ እየዘለሉ ቢካፈሉ ደግሞ አንደኛው 10¹⁶ን ከ−10¹⁶ ጋር አጣፍቶ 0 ያገኛል፣ ሌላኛው 1 እና 1 ደምሮ 2 ያገኛል። ውጤት 2።

አንድ ዳታ፣ ሦስት መልስ፤ ሦስቱም ኮዶች ግን ስህተት የለባቸውም። የትሬድ ቁጥር ሲቀየር ዳታው የሚቆረጥበት ቦታ ይቀየራል፣ የመደመሩ ተራ ይቀየራል፣ ማጠጋጋቱም አብሮ ይቀየራል። የትሬድ ቁጥሩ ያው ሆኖም ውጤቱ የሚዋዥቀው፣ ኦፕንኤምፒ በሪዳክሽን ጊዜ፣ ማለትም እያንዳንዱ ትሬድ ለብቻው የደመረውን ወደ አንድ ሲሰበስብ፣ ከፊል ድምሮቹን በየትኛው ተራ እንደሚያጣምር ዋስትና ስለማይሰጥ ነው፤ ቀድሞ የጨረሰ ቀድሞ ሊደመር ይችላል። ደግሞም ልብ ይበሉ፦ ተለየ ማለት ባሰ ማለት አይደለም። ረጅም ድምር በአጫጭር ድምሮች ተከፋፍሎ ሲሠራ ብዙውን ጊዜ የማጠጋጋት ስህተቱ ይቀንሳል።

ደረጃ 1፦ መነሻ ውጤት ይያዙ

ፕሮግራሙን በአንድ ትሬድ ብቻ ያስኪዱት። ኦኤምፒ_ነም_ትሬድስ የሚባለውን ኢንቫይሮመንት ቫሪያብል 1 ያድርጉ፤ እሱ ብቻውን ግን አይበቃም። ነምፓይ ውስጥ ያለው የማትሪክስ ላይብረሪ (ኦፕንብላስ ወይም ኤምኬኤል) ሳይነግርዎት የራሱን ትሬዶች ይከፍታል፤ ስለዚህ ኦፕንብላስ_ነም_ትሬድስ እና ኤምኬኤል_ነም_ትሬድስንም 1 ያድርጉ። ሦስቱም ተርሚናል ላይ በላቲን ትልልቅ ፊደል፣ ቃላቱ በታችኛው ሰረዝ ተያይዘው ይጻፋሉ። ፕሮግራሙ ከመነሳቱ በፊት መሰየም አለባቸው፤ በፓይተን ውስጥ ከሆነ ነምፓይ ከመጠራቱ በፊት። ከዚያ በኋላ ቢሰይሟቸው አይሰሙም።

ኮምፓይል ሲያደርጉ «ፋስት ማዝ» የተባለውን አማራጭ ያውጡት። እሱ ለኮምፓይለሩ የመደመሩን ተራ እንደፈለገ እንዲቀይር ፈቃድ ይሰጠዋል፤ በጂሲሲ ኮምፓይለር «ኦፋስት» የሚባለው ደረጃም ይህንኑ ይጨምራል።

ውጤቱን በ17 አሃዝ ያትሙ። አንድን ዳብል አትሞ መልሶ ያንኑ ቁጥር ለማግኘት 17 አሃዝ ያስፈልጋል። የሲ ፕላስ ፕላስ ነባሪ ሕትመት 6 አሃዝ ብቻ ስለሚያሳይ፣ ብዙ ሰው «ልዩነት የለም» የሚለው ልዩነቱ ስለማይታየው ነው።

አሁን ሁለቴ ያስኪዱት። በአንድ ትሬድ ሁለቱ ውጤቶች እስከ መጨረሻው አሃዝ ካልገጠሙ ስለ ትሬድ ማሰብ ገና ነው። መነሻ ዋጋ ያልተሰጠው ቫሪያብል ወይም ከሰዓት ዘሩን (መነሻ ቁጥሩን) የሚወስድ የዘፈቀደ ቁጥር አመንጪ ይኖራል፤ እሱን መጀመሪያ ያጥሩት።

ደረጃ 2፦ ልዩነቱ ከስንተኛው አሃዝ እንደሚጀምር ይዩ

በ2፣ በ4 እና በ8 ትሬድ እያንዳንዱን አሥር አሥር ጊዜ ያስኪዱ። ከመነሻው ያለውን ልዩነት ለመነሻው ዋጋ ያካፍሉት።

ሁሉም አዎንታዊ የሆኑ አንድ ሚሊዮን ቁጥሮች ሲደመሩ የማጠጋጋት ስህተቱ በከፋው ሁኔታ 10⁻¹⁰ አካባቢ ነው፤ በተለመደው ዳታ ግን ወደ 10⁻¹³ ይጠጋል። ያገኙት ልዩነት በዚህ ወሰን ውስጥ ከሆነ የማጠጋጋት ነው፤ ወደ ደረጃ 4 ይለፉ። 10⁻⁶ ወይም 10⁻³ ካገኙ ግን ሁለት ነገሮች ይጠረጠራሉ፦ ወይ ትሬዶቹ አንድ የጋራ ቫሪያብል ላይ እየተሻሙ ነው፣ ወይ ደግሞ ችግሩ ራሱ ጥቂት ነገር የሚያናውጠው ነው።

ሁለቱን የሚለይ ቀላል ፈተና አለ። ወደ አንድ ትሬድ ይመለሱና ከመግቢያ ዳታው አንዱን ቁጥር 15ኛው አሃዝ ላይ ብቻ ይነካኩት። ውጤቱ ያን ያህል ከተናወጠ ትሬዶቹ ነፃ ናቸው፤ ተናዋጩ ችግሩ ነው። ውጤቱ በአንድ ትሬድ ጸንቶ ቆሞ በስምንት ትሬድ ብቻ የሚዘል ከሆነ ኮዱ ውስጥ ሽሚያ አለ።

ተናዋጭ ችግር እንግዳ ነገር አይደለም። የኮንዲሽን ቁጥሩ (የመግቢያ ስህተት በውጤቱ ላይ ስንት እጥፍ ሊጎላ እንደሚችል የሚለካው) 10¹⁰ የሆነ ማትሪክስ ይዘው እኩልታ ሲፈቱ ከ16ቱ አሃዝ ወደ 10 የሚሆኑት ይጠፋሉ፤ 6 ገደማ ይቀራሉ። በጊዜ የሚሄድ ሞዴል ላይ ደግሞ ይብሳል። በ1961 ኤድዋርድ ሎሬንዝ የአየር ሁኔታ ሞዴሉን ከመሃል ሲያስጀምር 0.506127 በማለት ፈንታ 0.506 ብሎ አስገባ፤ ሁለቱ ሂደቶች ቀስ በቀስ ተራርቀው በመጨረሻ ምንም የማይመሳሰሉ ሆኑ። በ1963 ያሳተመው ባለ ሦስት እኩልታ ሥርዓት በተለመዱት ዋጋዎቹ 10⁻¹⁶ የምታህል ልዩነትን በሞዴሉ ጊዜ 40 አሃድ ገደማ ሲሄድ ግልጽ ልዩነት ያደርጋታል። እንዲህ ዓይነት ሞዴል ላይ መንገዱን ከመንገዱ ጋር ማወዳደር ዋጋ የለውም፤ አማካዩንና ስርጭቱን ያወዳድሩ።

ደረጃ 3፦ ሽሚያውን ይያዙ

የጋራ ድምር ላይ 12.5 ተቀምጧል። አንደኛው ትሬድ 12.5ን አነበበ። እሱ መልሶ ሳይጽፍ ሁለተኛውም 12.5ን አነበበ። አንደኛው 3 ደምሮ 15.5 ጻፈ፤ ሁለተኛው 2 ደምሮ 14.5 ጻፈበት። 3ቱ የት ገባ? የለም። ትክክለኛው 17.5 ነበር። አዎንታዊ ቁጥሮች ሲደመሩ ውጤቱ ከመነሻው በተደጋጋሚ ካነሰ ይህ ዋናው ምልክት ነው።

ማረጋገጫው ቀላል ነው፤ የሚደመሩትን ቁጥሮች የያዘውን ድርድር በሙሉ 1.0 ይሙሉትና ያንኑ ኮድ ያስኪዱ። ከ2⁵³ በታች ያሉ ሙሉ ቁጥሮች ሲደመሩ ምንም ማጠጋጋት የለም፤ በየትኛውም ተራ ቢደመሩ መልሱ የድርድሩ ርዝመት ነው። ከዚያ በአንዲት እንኳ ከጎደለ ምክንያቱ ማጠጋጋት ሊሆን አይችልም። በጂሲሲና በክላንግ ኮምፓይለሮች ውስጥ ያለው ትሬድ ሳኒታይዘርም ሽሚያው የተፈጠረበትን መስመር ያሳያል፤ ጂሲሲ ላይ ከኦፕንኤምፒ ጋር ሲሠራ ግን በሌለበትም ሊጮህ ስለሚችል ከ1.0ው ፈተና ጋር አብረው ያዩት።

መፍትሔው ድምሩን በሪዳክሽን መሥራት ነው። እያንዳንዱን መደመር አቶሚክ ማድረግም (አንዱ ትሬድ አንብቦ ጽፎ ሳይጨርስ ሌላው እንዳይገባ ማድረግም) ሽሚያውን ያስቀራል፤ ነገር ግን ትሬዶቹን በር ላይ ስለሚያሰልፋቸው ብዙ ጊዜ ከአንድ ትሬድ የዘገየ ይሆናል። ከድምሩ ሌላ ሁለት ቦታ ይፈትሹ፦ ከሉፑ ውጭ የታወጀ ጊዜያዊ ቫሪያብል፣ እና ሁሉም ትሬዶች የሚጋሩት የዘፈቀደ ቁጥር አመንጪ። የመጀመሪያውን ወደ ሉፑ ውስጥ ያስገቡት፤ ለሁለተኛው ለእያንዳንዱ ትሬድ የራሱን ተከታታይ ይስጡት። ነምፓይ ውስጥ ሲድ ሲኩዌንስ የሚባለው ከአንድ ዘር ብዙ ነፃ ተከታታዮች ያወጣል።

ደረጃ 4፦ የመደመሩን ተራ ይቆልፉ

በማንኛውም የትሬድ ቁጥር እስከ መጨረሻው አሃዝ አንድ ዓይነት መልስ ከፈለጉ፣ ዳታውን በትሬድ ቁጥር አይቁረጡት። ቋሚ መጠን ባላቸው ብሎኮች፣ ለምሳሌ በ4,096 ቁጥር ይቁረጡት። እያንዳንዱን ብሎክ ማንም ትሬድ ይደምረው፤ ውጤቱን ግን የብሎኩ ተራ ቁጥር ባለበት ሣጥን ውስጥ ያስቀምጥ። በመጨረሻ አንድ ትሬድ ሣጥኖቹን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በተራ ይደምራቸው። 100 ሚሊዮን ቁጥር 24,415 ብሎክ ይሆናል፤ ያንን መደመር እዚህ ግባ የሚባል ጊዜ አይወስድም። ብሎኩን ማን እንደሠራው፣ ማን ቀድሞ እንደጨረሰ ለውጥ አያመጣም። መነሻ ውጤትዎም በዚሁ የብሎክ ኮድ በአንድ ትሬድ የተገኘው ይሁን።

እዚህ ላይ የምትሠራ አንዲት ስህተት ፍጥነቱን ትገድላለች። ትሬዱ በእያንዳንዱ መደመር ሣጥኑ ላይ አይጻፍ። በተለመዱት ፕሮሰሰሮች አንድ የካሽ መስመር (ፕሮሰሰሩ ከሜሞሪ በአንዴ የሚያመጣው ቁራጭ) 64 ባይት ነው፤ ስምንት ዳብል ይይዛል። ጎን ለጎን ባሉ ሣጥኖች ላይ የሚጽፉ ትሬዶች ዳታ ባይጋሩም መስመሩን ይነጣጠቃሉ። ትሬዱ በራሱ ጊዜያዊ ቫሪያብል ደምሮ ሲጨርስ አንዴ ብቻ ይጻፍ።

የላቀ ትክክለኛነት ከፈለጉ በብሎኩ ውስጥ የካሃንን ማካካሻ ድምር ይጠቀሙ፤ ዊልያም ካሃን በ1965 ያሳተመው ነው፤ የጠፋውን ቁራጭ በሌላ ቫሪያብል ይዞ በሚቀጥለው መደመር ይመልሰዋል። ፋስት ማዝ በርቶ ከሆነ ግን ኮምፓይለሩ ማካካሻውን ዜሮ ነው ብሎ ሊሰርዘው ይችላል። ላይብረሪ ውስጥ ያለውን ስሌት ግን በዚህ መንገድ መቆለፍ አይችሉም፤ የኢንቴል ኤምኬኤል ለዚሁ ኤምኬኤል_ሲቢደብሊውአር የሚባል ቅንብር አለው።

ደረጃ 5፦ ፍጥነቱን ይለኩ

ሊኑክስ ላይ በሲ «ክሎክ» ፈንክሽን አይለኩ። እሱ የሁሉንም ትሬዶች የፕሮሰሰር ጊዜ ይደምራል፤ ስምንት ትሬድ አንድ ሰከንድ ሲሠሩ 8 ሰከንድ ይልዎታል። የግድግዳ ሰዓት የሚሰጠውን የኦፕንኤምፒን የጊዜ ፈንክሽን፣ በፓይተን ደግሞ ፐርፍ ካውንተርን ይጠቀሙ። የመጀመሪያውን ዙር ይጣሉት፣ ከዚያ ቢያንስ አምስት ዙር ለክተው መካከለኛውን ይውሰዱ።

ጂን አምዳል በ1967 ያነሳው ሐሳብ እዚህ ይሠራል፦ ከሥራው 10 በመቶው በአንድ ትሬድ ብቻ የሚሠራ ከሆነ፣ ስምንት ትሬድ ከ4.7 እጥፍ በላይ አያፈጥንም፤ የፈለጉትን ያህል ትሬድ ቢጨምሩም 10 እጥፍ አይደርስም።

ከዚህም በላይ ሰውን ግራ የሚያጋባው ሜሞሪ ነው። ሃምሳ ሎሚ ለሃምሳ ሰው ጌጥ የሚሆነው ሎሚው የሚወጣበት በር ሲሰፋ ነው። 100 ሚሊዮን ዳብል 800 ሜጋባይት ነው። ሁለት ቻናል ያለው ዲዲአር4-3200 ሜሞሪ በሰከንድ ቢበዛ 51.2 ጊጋባይት ያሳልፋል። ስለዚህ ያንን ድርድር መደመር ስምንትም ይሁን ስልሳ አራት ትሬድ ቢመደብለት ከ15.6 ሚሊሰከንድ በታች አይወርድም። 5,000 በ5,000 የሆኑ ሁለት ማትሪክሶችን ማባዛት ግን ውጤቱን ጨምሮ 600 ሜጋባይት ዳታ ላይ 250 ቢሊዮን ስሌት ነው፤ አንዴ የመጣው ቁጥር ደጋግሞ ስለሚሠራበት ትሬድ ሲጨመር ፍጥነቱም አብሮ ይጨምራል። ኮድዎ ከሦስት ወይም ከአራት ትሬድ በኋላ ፍጥነቱ ካልጨመረ መጀመሪያ ይህን ሒሳብ ይሥሩ።

የትሬዱን ቁጥር ከእውነተኛዎቹ ኮሮች ጋር ያስተካክሉ። ኮምፒውተሩ 16 የሚለው 8 ኮር በሃይፐርትሬዲንግ (አንዱን ኮር እንደ ሁለት በሚያሳየው አሠራር) ተባዝቶ ሊሆን ይችላል፤ በአንድ ኮር ላይ ያሉት ሁለት ትሬዶች የስሌት ክፍሉን ይጋሩታል። ኦኤምፒ_ፕሌስስን «ኮርስ»፣ ኦኤምፒ_ፕሮክ_ባይንድን «ክሎዝ» ካሉት ትሬዶቹ ከኮር ኮር አይዘዋወሩም። ስምንት የፓይተን ፕሮሰስ ከፍተው እያንዳንዱ ውስጥ ያለው ላይብረሪ ስምንት ትሬድ ቢከፍት በ8 ኮር ላይ 64 ትሬድ ይራኮታል፤ እንዲህ ሲሆን በየፕሮሰሱ የላይብረሪውን ትሬድ 1 ያድርጉት።

ከውጤቱ ጋር የትሬዱን ቁጥር፣ የኮምፓይለሩን አማራጮችና የላይብረሪውን ስሪት አብረው ይመዝግቡ። የፍተሻ ኮድ ሲጽፉም ሁለት ዳብሎችን «እኩል ናቸው ወይ» ብለው አይጠይቁ። በብሎክ የተቆለፈ ድምር ከሆነ ብቻ እኩልነት ይጠይቁ፤ በሌላው ሁሉ የመቻቻያውን ወሰን ከኮንዲሽን ቁጥሩ ያውጡት። የኮንዲሽን ቁጥሩ 10⁴ ከሆነ 10⁻¹¹ ይበቃል፤ 10¹⁰ ለሆነው 10⁻¹¹ ቢጠይቁት ፍተሻው ያለ ጥፋት ይወድቃል፤ ለሁሉም 10⁻³ ቢሰጡ ደግሞ ደረጃ 3 ላይ ያየነው ሽሚያ ሳይታይ ያልፋል።