የሱፐርማንንና የባትማንን ልጆች በአማርኛ ማንበብ

አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የተወለደ የዘጠኝ ዓመት ልጅ አለኝ። አማርኛ ይሰማል፣ ሲመልስ ግን በእንግሊዝኛ ነው። ማታ ማታ ኮሚክ (በሥዕል የሚተረክ መጽሐፍ) ከቤተ መጻሕፍት ተውሼ በአማርኛ እያነበብኩለት ሁለት ዓመት ሞላን። መሞከር ለምትፈልጉ የለመድኩትን ልንገራችሁ።

እኔ ገና ከመነሻው ነው የሳትኩት። የባትማን ልጅ ዴሚየን እ.ኤ.አ. በ2006 ብቅ ካለበት ጀመርኩ። ዴሚየን እናቱ ዘንድ በነፍሰ ገዳዮች መሃል ያደገ ልጅ ነው፤ አባቱ ቤት ከገባ ብዙም ሳይቆይ የሰው አንገት ይቆርጣል። ገጹን ቶሎ ብገለብጠውም ልጄ አይቶት ነበር። ባለቤቴም ከወጥ ቤት ሰምታለች፤ ስለዚያ ማታ ሌላ አልጨምርም። እናንተ ሁለቱ ልጆች አብረው ከሚገኙበት፣ በ2017 ከተጀመረው "ሱፐር ሰንስ" ጀምሩ። 16 እትም ነው። ዴሚየን 13፣ የሱፐርማን ልጅ ጆን ደግሞ 10 ዓመቱ ነው፤ ታናሹ በቁመት ስለሚበልጠው ታላቁ ይንገበገባል።

ዋናው ሥራ አጠራሩ ላይ ነው። ዴሚየን ባትማንን "ፋዘር" ይለዋል፣ ጆን ሱፐርማንን "ዳድ"። ሁለቱንም "አባዬ" ካላችኋቸው ጨዋታው ፈረሰ። ጆን "አባዬ፣ መጣህ?" ይበል፤ ዴሚየን ግን "አባቴ፣ መጡ?"። ልጄ በሁለተኛው ማታ "ለምንድነው አባቱን አንቱ የሚለው?" አለኝ። አባቱን ያገኘው አስር ዓመት ገደማ ሲሆነው መሆኑን ለመንገር ከዚህ የተሻለ በር አላገኘሁም።

ዴሚየን ሲንቅ በምላሱ "ትት" ያደርጋል። መጀመሪያ ላይ ከንፈሬን መጠጥኩ። ልጄ "ማን ሞተ?" አለ፤ እውነቱን ነው፣ እኛ ቤት ያ ድምፅ የሚሰማው መርዶ ሲመጣ ነው። አሁን "ኤጭ!" እላለሁ። ድው፣ ጧ፣ ቧ የሚሉትን ለልጁ ተዉለት።

"ሌጋሲ" የምትል ቃል ትመጣለች። "ውርስ" ብዬ ልጄ የአያቱን ቤት ክርክር አስታወሰ፤ በስልክ ሲጨቃጨቁ ይሰማል። "አደራ" በሉት። አደራ ከብዶ ይመጣል፣ አልፈልግም ለማለትም ያስቸግራል፤ ደረቱ ላይ የኤል ቤትን፣ ማለትም የሱፐርማንን ቤተሰብ፣ ምልክት ለጥፎ፣ መብረር ሳይችል ከአጥር አጥር የሚዘል ልጅ የተሸከመው እሱን ነው። የሱፐርማን እውነተኛ ስም ክላርክ፣ የባትማን ብሩስ ነውና ልጆቹን በእኛ ልማድ ጥሩላቸው፦ ጆን ክላርክ፣ ዴሚየን ብሩስ። ልጄ የራሱን ስም አስከትሎ የእኔን ሲጠራ፣ የአባት ስም ይዞ መዞር ምን እንደሆነ ሳላስረዳው ገባው።

ሁለት ቦታ ተጠንቀቁ። በ2013 ዴሚየን ይገደላል፤ ኋላ ይመለሳል፣ ቀድማችሁ ንገሩት። በ2018 ደግሞ ጆን ከአያቱ ጋር ወደ ህዋ ይሄድና 17 ዓመት ሞልቶት ይመጣል፤ ለክላርክ ግን ያለፈው ጥቂት ሳምንት ነው። ልጄ መጽሐፉን ዘጋና በአማርኛ "አባቱ ሲያድግ አላየውም" አለ። እኔ የማታ ፈረቃ የምሠራ ሰው ነኝ፤ የምመልሰው አጣሁ። ያቺን እትም ለአርብ ማታ አቆዩዋት፣ ጥያቄው አያልቅም።