ባለ ብዙ ምዕራፍ የልጆች መጻሕፍትን መምረጥና ጮክ ብሎ ማንበብ

ክረምት ገብቶ ትምህርት ቤት ሲዘጋ የሐዋሳ ልጆች ረፋዱን በሐይቁ ዳርና በየሰፈሩ ሜዳ ያሳልፋሉ፤ ዝናቡ ሲጀምር ግን ቤት ተሰብስበው የወላጆቻቸውን ስልክ ይሻማሉ። ይህ ጊዜ ባለ ብዙ ምዕራፍ መጽሐፍ ለማስጀመር ከዓመቱ ሁሉ የተመቸ ነው፤ የቤት ሥራ የለም፣ ማልዶ መነሣትም የለም። ከሰባት እስከ አሥራ አንድ ዓመት ያለ ልጅ አንድን ታሪክ ለሳምንታት በልቡ ይዞ መቆየት ይችላል። ብዙዎቹ የሚሰለቹት ታሪኩ ከብዷቸው ሳይሆን፣ ሁለት መቶ ገጽ ብቻቸውን እንዲዘልቁ ስለሚታዘዙ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን መጻሕፍት ወላጅ፣ አያት ወይም ታላቅ ወንድም በየምሽቱ አንድ ምዕራፍ ጮክ ብሎ ቢያነብላቸው ይመረጣል።

አንድ ምዕራፍ በአንድ ምሽት ማለቴ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ከታወቁት የልጆች መጻሕፍት አንዳንዶቹ የተጻፉትም በዚሁ መንገድ ነበር። ጣሊያናዊው ካርሎ ኮሎዲ ‹ፒኖኪዮ›ን ከ1881 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያወጣው በልጆች ጋዜጣ ላይ በተከታታይ ነው። በ15ኛው ምዕራፍ የእንጨቱ ልጅ ዛፍ ላይ ተሰቅሎ ሲቀር ታሪኩ አብቅቶ ነበር፤ ይቀጥል የሚለው ጥያቄ ስለበረታ ግን ደራሲው ወደ ሥራው ተመልሶ እስከ 36ኛው ምዕራፍ አደረሰው። በዚያው ዓመት ሮበርት ሉዊስ ስቲቨንሰን ዝናብ በበዛበት የስኮትላንድ የዕረፍት ጊዜ፣ ከእንጀራ ልጁ ጋር በሠራው የደሴት ካርታ ተነሣስቶ ‹ትሬዠር አይላንድ›ን ጀመረ፤ የጻፈውንም በየቀኑ ለቤተሰቡ ያነብ ነበር። በታሪኩ መጀመሪያ ላይ የሚከፈተውን የመርከበኛ ሣጥን የሞሉትን ዕቃዎች የዘረዘሩት የደራሲው አባት እንደነበሩም ይታወቃል። እንግዲህ ምዕራፉ ልብ በተሰቀለበት ቦታ ላይ ሲያበቃ፣ ልጁ ‹‹ትንሽ ብቻ ጨምሩልኝ›› ብሎ ቢለምንም መጽሐፉን ይዝጉ። ነገ ከራት በፊት ራሱ መጽሐፉን ይዞ ይመጣል።

ለመጀመሪያ የሚሆነው እያንዳንዱ ምዕራፍ ለብቻው የቆመ መጽሐፍ ነው፤ አንድ ምሽት እንግዳ መጥቶ ወይም ልጁ እንቅልፍ ጥሎት ቢታለፍ የታሪኩ ክር አይበጠስም። ስዊድናዊቷ አስትሪድ ሊንድግሬን በ1945 እ.ኤ.አ. ያሳተመችው ‹ፒፒ ሎንግስቶኪንግ› ለዚህ ይስማማል። ደራሲዋ ታሪኩን መጀመሪያ የፈጠረችው ታማ ለተኛች ልጇ ልታወራላት ብላ ስለነበር፣ ምዕራፎቹ ሁሉ በአንድ ቁጭታ የሚያልቁ ናቸው። ፈረስ በእጆቿ የምታነሣ፣ ያለ ወላጅ ብቻዋን የምትኖር ልጅ ታሪክ ነውና የሥነ ሥርዓት ጉዳይ የሚያሳስባቸው ወላጆች ሊደነግጡ ይችላሉ፤ ልጆች ግን ቀልድ መሆኑን አዋቂዎች ከሚገምቱት በላይ ይረዳሉ። ይህም ገና የሚረዝምበት ልጅ ካለ፣ የከበደ ሚካኤል ‹ታሪክና ምሳሌ› ውስጥ ያሉትን አጫጭር የግጥም ታሪኮች ለጥቂት ቀናት በማንበብ ጆሮውን ማስለመድ ይቻላል።

ከዚያ ቀጥሎ ታሪኩ ከምዕራፍ ወደ ምዕራፍ ወደሚሳብ መጽሐፍ ይሻገሩ። የዮሃና ሽፒሪ ‹ሃይዲ› ከስዊዘርላንድ ተራሮች የመጣች ብትሆንም ለእኛ ልጆች ባዳ አይደለችም። ፍየል የሚጠብቅ ልጅ፣ ኮስታራ አያት፣ ከገጠር ወደ ከተማ ተወስዳ በሰው ቤት ስትኖር በናፍቆት የምትታመም ሕፃን፣ እነዚህ ሁሉ ከሐዋሳ ዙሪያ ቀበሌዎች ወደ ዘመድ ቤት የመጣ ልጅ ሳይነገረው የሚያውቃቸው ነገሮች ናቸው። የቺንዋ አቼቤ ‹ቺኬ ኤንድ ዘ ሪቨር› ደግሞ አጭር ነው። የአሥራ አንድ ዓመቱ ቺኬ ከመንደሩ ወጥቶ በኒጀር ወንዝ ዳር ባለችው በኦኒቻ ከተማ ከአጎቱ ጋር ይኖራል፤ ሌት ተቀን የሚያስበውም በጀልባ ወዲያ ማዶ ስለሚሻገርበት ገንዘብ ነው። በአሞራ ገደል ቆሞ በጀልባ ወደ ሐይቁ የሚገቡትን ዓሣ አጥማጆች የተመለከተ ልጅ የቺኬን ጉጉት ማንም ሳያብራራለት ይገባዋል። በእኔ ግምት ከአህጉራችን የወጣ ታሪክ ቀድሞ ቢነበብ፣ ‹‹መጽሐፍ ማለት የፈረንጅ ልጅ ታሪክ ነው›› የሚለው ስሜት ሥር አይሰድም።

የኢ. ቢ. ዋይት ‹ሻርሎትስ ዌብ› በ1952 እ.ኤ.አ. የታተመ ሲሆን፣ ሻርሎት የተባለች ሸረሪት በድሯ ላይ ቃላት እየጻፈች ዊልበር የተባለውን የአሳማ ግልገል ከመታረድ የምታድንበት ታሪክ ነው። አሳማ በማይበላበት ቤት ያደገ ልጅ ‹‹ለምን አሳማ?›› ብሎ መጠየቁ አይቀርም፤ በሌላ አገር ገበሬዎች ዘንድ አሳማ እንደ በግ እንደሚረባ ነግሮ ማለፍ ይበቃል። የበለጠ ጥንቃቄ የሚሻው መጨረሻው ነው። ሻርሎት የምትሞተው በ21ኛው ምዕራፍ ሲሆን፣ ልጆቿ ተፈልፍለው የሚመጡት በመጨረሻው በ22ኛው ነው። የአንድ ምዕራፍ ደንብ እዚህ ላይ ይፍረስ፤ ሁለቱን በአንድ ምሽት ያንብቧቸው። ልጁ ቢያለቅስ ‹‹ተረት እኮ ነው›› ብሎ ማስቆም አያስፈልግም።

መጽሐፉ በአማርኛ ካልተገኘና በእንግሊዝኛ ብቻ ካለ፣ ምሽቱን ወደ እንግሊዝኛ ትምህርት አይለውጡት። ምዕራፉን ቀን ላይ ለብቻዎ አንብበው፣ የሰዎቹንና የቦታዎቹን ስም እንዳለ ይዘው፣ ማታ በራስዎ አማርኛ ይተርኩት። ቃል በቃል መተርጎም ዐረፍተ ነገሩን ያደርቀዋል፤ ገጸ ባሕርያቱ የሚነጋገሩበትን ክፍል ግን በተቻለ መጠን ሳያሳጥሩ መናገር ይገባል፤ የታሪኩ ጨው እዚያ ነው። ልጁ በማግሥቱ የሰማውን ለአያቱ በሲዳምኛ ወይም በወላይትኛ ቢተርክ፣ ምን ያህል እንደተከታተለ ከየትኛውም ጥያቄና መልስ የተሻለ ያሳያል። ፈተና የሚመስል ጥያቄ መደርደር የንባብን ጣዕም ያጠፋልና ‹‹አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር?›› ከሚል አንድ ጥያቄ በላይ አይጠይቁ።

አሳጥረው የሚታተሙ ቅጂዎችን ሲገዙ ሁለት ሦስት ገጽ ቆመው ያንብቡ። ‹ሮቢንሰን ክሩሶ› በ1719 እ.ኤ.አ. ሲወጣ በምዕራፍ የተከፈለ አልነበረም፤ ስለዚህ ባለ ምዕራፍ ሆኖ በልጆች እጅ የሚገኘው በኋላ ሰዎች የከፈሉትና ብዙ ጊዜም ያሳጠሩት ነው። ክሩሶ መርከቡ የተሰበረችው ከአፍሪካ ባሪያ ለማምጣት ሲጓዝ እንደነበር ቅጂው ይዝለለው አይዝለለው፣ ወላጅ አስቀድሞ አውቆ ከልጁ ጋር መነጋገሩ ይሻላል።

ልጁ ብቻውን ማንበብ ሲጀምር ከመጽሐፉ መካከል አንድ ገጽ ከፍተው ያስነብቡት፤ በአንዱ ገጽ ከአምስት በላይ የማያውቃቸው ቃላት ካጋጠሙት መጽሐፉ ለጊዜው በአዋቂ ድምፅ ይቀጥል። ምዕራፉን ተደብቆ ቀድሞ ቢያነብ ደግሞ ደስ ሊለን እንጂ ልንቆጣው አይገባም።

መጽሐፍ የማግኘቱ ነገር በሐዋሳ ታሪክ አለው። ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ ከመሥራቾቹ አንዱ የነበሩበት ‹ኢትዮጵያ ሪድስ› የተባለ ድርጅት በዚህች ከተማ በአህያ ጋሪ የሚጓዝ የልጆች ቤተ መጻሕፍት አቋቁሞ ነበር። ዛሬ አሮጌ መጽሐፍ ሻጮችን መጠየቅ፣ የቆዩትን እንደ ‹ፒኖኪዮ›፣ ‹ሃይዲ› እና ‹ትሬዠር አይላንድ› ያሉትን ደግሞ ከፕሮጀክት ጉተንበርግ ድረ ገጽ በእንግሊዝኛ በነፃ አውርዶ በስልክ ላይ ማስቀመጥ ይቻላል። ስልኩን ግን ወላጅ ይያዘው፤ ለልጁ ከተሰጠ ምዕራፉ ሳያልቅ ወደ ጨዋታ ይገባል። አዲስ መጽሐፍ መግዛት ለአንድ ቤት ቢከብድ፣ በአንድ ግቢ ወይም በአንድ ክፍል ልጆች ያሏቸው ሦስት አራት ቤተሰቦች እያንዳንዳቸው አንድ አንድ የተለያየ መጽሐፍ ገዝተው በየሦስት ሳምንቱ ይቀያየሩ። ሽፋኑን በላስቲክ ለብጠው፣ የተቀባዩን ስምና ቀኑን ከኋላው ገጽ ላይ ይጻፉ፤ ዙሩንም ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ቢጀምሩት መስከረም ሳይጠባ ቢያንስ ሦስቱ ይነበባሉ።