ወደ ዱርንሽታይን ፍርስራሽ ግንብ ሲወጡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከቪየና በስተምዕራብ፣ ከክሬምስ ከተማ አለፍ ብሎ፣ የዳኑብ ወንዝ በወይን እርከኖች መካከል ይታጠፋል። ሸለቆው ቫኻው ይባላል፤ ዩኔስኮ በ2000 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ጎርጎርሳውያን አቆጣጠር ናቸው)። በመታጠፊያው ዳር ትንሿ ዱርንሽታይን አለች። ከበላይዋ፣ ቋጥኙ አናት ላይ፣ የስዊድን ወታደሮች በ1645 በባሩድ ያፈረሱት ግንብ ቆሟል። ከከተማዋ እስከ ፍርስራሹ ያለው ዳገት ከመቶ ሜትር ትንሽ ቢበልጥ ነው፤ ደህና ለሚራመድ ሰው ግማሽ ሰዓት ገደማ ይበቃዋል። እዚህ ቦታ የሚሠሩት ስህተቶች አብዛኞቹ የሚመነጩት ከዚህችው ግማሽ ሰዓት ነው። ሰው መንገዱ አጭር መሆኑን ሲሰማ ጥንቃቄውን ከታች ትቶ ይወጣል።

«አጭር ነው» ብሎ ባገኙት ጫማ መውጣት

ከመርከብ ወርደው በሸበጥ፣ ከሆቴል ወጥተው በተረከዝ ጫማ የሚጀምሩ ብዙዎች ናቸው። የመጀመሪያዎቹ እርምጃዎች በተነጠፈ የከተማ ድንጋይ ላይ ስለሆኑ ምንም አይከብዱም። ከዚያ መንገዱ ወደ ቋጥኝ ደረጃ ይለወጣል። ደረጃዎቹ ቁመታቸው እኩል አይደለም፤ አንዱ እስከ ቁርጭምጭሚት፣ ቀጣዩ እስከ ጉልበት ሊደርስ ይችላል። መሃላቸውን የብዙ ዘመን ኮቴ አልስልሶታል። በመኸር ወቅት ደግሞ የረጠበ ቅጠል ጠርዛቸውን ስለሚሸፍነው እግር የሚያርፍበትን ሳያይ ያርፋል። ሶሉ ጥርስ ያለውና ቁርጭምጭሚትን የሚደግፍ ጫማ እንጂ ሌላ ነገር አያስፈልግም። የተራራ መውጫ ዕቃ መሸከም ትርፍ ድካም ነው።

በቀጥተኛው መንገድ መውረድ

ወደ ላይ የሚወስዱት መንገዶች ሁለት ናቸው። አንደኛው ቀጥ ያለና አጭር ሲሆን በዳሩ ስለ መካከለኛው ዘመን ሕይወት የሚያስረዱ ሰሌዳዎች ቆመውበታል። ሁለተኛው ረዘም ብሎ በዝግታ ይወጣል። ብዙ ሰው በዘገምተኛው ወጥቶ፣ ደክሞትም ቸኩሎም በቀጥተኛው ይወርዳል። ይህ የተገላቢጦሽ ነው። ሰው ሲወጣ የሚያደክመው ሳንባው ነው፤ ሲወርድ ግን ሸክሙ ጉልበቱ ላይ ይወድቃል፣ የሚያንሸራትተውም ቁልቁለቱ ነው። በቀጥተኛው ወጥቶ፣ ሰሌዳዎቹን እያነበቡ ትንፋሽ ሰብስቦ፣ በዘገምተኛው መውረድ ይሻላል። ሕፃን ወይም አረጋዊ አብሮዎት ካለ ለመውጣትም ለመውረድም ዘገምተኛውን ይያዙ።

ሰዓቱን አለማሰብ

ኮረብታው ፊቱን ወደ ደቡብ ያዞረ ነው፤ ቋጥኙ ቀን የጠጣውን ሙቀት ይዞ ያመሻል። ወይኑ እዚህ የሚያምርበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ በሐምሌ እኩለ ቀን የሚወጣ ሰው ግን በዚያው ሙቀት ይጠበሳል። ላይ የሚሸጥ ውኃ የለም። በሙቀቱ ወራት ማለዳ ወይም አመሻሽ ላይ ይውጡ። በታኅሣሥ ደግሞ ፀሐይ በእኛ አቆጣጠር 10 ሰዓት ገደማ ትጠልቃለች። ዓመቱን ሙሉ 12 ሰዓት አካባቢ ሲመሽ ማየት ለለመደ ሰው ይህ በቀላሉ የሚዘነጋ ነገር ነው። ከመነሳትዎ በፊት የዕለቱን የፀሐይ መጥለቂያ ሰዓት ይመልከቱ፤ ከዚያ አንድ ሰዓት ቀድመው መውረድ ይጀምሩ።

ግድግዳው ላይ መውጣት

በጣም የሚያሳዝነኝ ይህ ነው። ለአንድ ፎቶግራፍ ሲባል ከስምንት መቶ ዓመት በላይ የቆየ ግድግዳ አናት ላይ ይቆማሉ። አደጋው ግልጽ ነው፤ ከግድግዳው ማዶ ገደል አለ። የማይታየው ጉዳት ግን በድንጋዮቹ መካከል ባለው የኖራ ማያያዣ ላይ የሚደርሰው ነው። ዝናብ በስንጥቁ ይገባል፣ በብርዱ ወራት በረዶ ይሆናል፤ ውኃ ሲረጋ መጠኑ ወደ ዘጠኝ በመቶ ገደማ ስለሚጨምር ስንጥቁን ያሰፋዋል። ይህ በየዓመቱ ይደጋገማል። እንዲህ የላላ ድንጋይ ከታች ሲያዩት ጽኑ ይመስላል፤ የሰው ክብደት ሲያርፍበት ግን ይነቀላል። ባሩድና ውርጭ ያተረፉትን ጫማችን ሊያፈርሰው አይገባም። መልክዓ ምድሩ ከመተላለፊያው ላይ ሆነው ቢያዩትም ያው ነው።

ታሪኩን ሳያውቁ መድረስ

መግቢያው ነጻ ነው፤ ትኬት የሚቆርጥም አስጎብኚም አይጠብቅዎትም። ሳያነቡ የመጡ ሰዎች «ድንጋይ ብቻ ነው» ብለው በአሥር ደቂቃ ይመለሳሉ። እዚህ የታሰረው ግን የእንግሊዙ ንጉሥ ሪቻርድ ልበ አንበሳ ነው። ከመስቀል ጦርነት ሲመለስ በታኅሣሥ 1192 ቪየና አጠገብ ተያዘ። ያሰረው የኦስትሪያው መስፍን ሊዮፖልድ አምስተኛ ሲሆን፣ በዚያው ጦርነት፣ በቅድስት ምድር ባለችው በአክሬ ከተማ ከበባ ጊዜ ከሪቻርድ ጋር ተቀያይመው ነበር። በቀጣዩ ዓመት ንጉሡ ለንጉሠ ነገሥት ሄንሪ ስድስተኛ ተላልፎ ተሰጠ፤ የተፈታውም በየካቲት 1194፣ እንግሊዝን ያራቆተ እጅግ ብዙ የብር ቤዛ ከተከፈለ በኋላ ነው። ሊዮፖልድ ከቤዛው በደረሰው ድርሻ የቪየናን ቅጥር አጠናከረ፣ ቪነር ኖይሽታት የምትባለውንም ከተማ ቆረቆረ። ዘፋኙ ብሎንዴል ጌታውን ፍለጋ በየግንቡ ሥር እየዘፈነ ዞረ የሚባለው ግን አፈ ታሪክ ነው፤ ለልጆችዎ ሲነግሩ እንደ አፈ ታሪክ ይንገሯቸው።

ይህን ይዘው ሲደርሱ ወንዙን ብቻ አይመልከቱ። ከግንቡ ወደ ከተማዋ የሚወርደውን የመከላከያ ቅጥር በዓይንዎ ይከተሉት፤ ያን ጊዜ ኮረብታውና ከተማዋ አንድ ምሽግ እንደነበሩ ይገለጥልዎታል። ከታች በሰማያዊና በነጭ ቀለም ያጌጠው የቤተ ክርስቲያን ማማ ግን የ18ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ስለሆነ ሪቻርድ አላየውም።

የወይን እርከኑን እንደ መናፈሻ መቁጠር

እርከኖቹ የገበሬ ንብረት ናቸው። ፍሬውን አይቁረጡ፤ ያለ ማያያዣ በእጅ የተካቡትን የድንጋይ ካቦችም አይርገጡ። አንዱ ድንጋይ ሲናድ ጎረቤቱን ያስከትላል፤ መልሶ መካብ ደግሞ አድካሚ የእጅ ሥራ ነው። በካቡ ስንጥቅ ውስጥ አረንጓዴ እንሽላሊት ይኖራል፤ በሞቃት ጠዋት ዝም ብለው ከቆሙ አንገቱ ሥር ሰማያዊ ሆኖ ድንጋዩ ላይ ሲሞቅ ያዩታል።

መዥገርን መናቅ

ከፀደይ እስከ መኸር በሣሩና በቁጥቋጦው ውስጥ መዥገር አለ፤ በኦስትሪያ አንጎልን የሚያስቆጣ ቫይረስና የላይም በሽታ ያስተላልፋል። ለቫይረሱ ክትባት አለ፤ ለላይም ግን መከላከያው ረጅም ሱሪና ፍተሻ ነው። ማታ ከጉልበት ጀርባ፣ ብብትና ብሽሽት ይፈትሹ፤ ካገኙ ቆዳው አጠገብ በወረንጦ ይዘው ቀጥ አድርገው ይሳቡት። ዘይት አይቀቡበት፣ በእሳትም አያቃጥሉት።

መመለሻን ለዕድል መተው

መርከቦቹም የሸለቆው ባቡርም እንደ ወቅቱ ይለዋወጣሉ። የመጨረሻውን አውቶቡስ ሰዓት ከመውጣትዎ በፊት ይመዝግቡ፤ ስልክዎንም ሞልተው ይያዙ። አንድ ሰው ቢሰበር ወይም ቢወድቅ የኦስትሪያ የተራራ ነፍስ አድን ቁጥር 140 ነው፤ 112ም ይሠራል። ሲደውሉ በየትኛው መንገድ ላይ እንዳሉና ያለፉትን የመጨረሻ ሰሌዳ ይንገሯቸው።